በየካቲት ማን ያቃጥላል?

ባለፈው ኅዳር አዲሱ ጎረቤቴ በባልዲ ውኃ አጠበኝ። እኔን ሳይሆን እሳቱን ነበር ያሰበው። እንደየዓመቱ ልማዴ ክረምቱ ከአጥሬ ጀርባ ጥሎት የሄደውን፣ ከሰው ቁመት የሚበልጠውን ሣር ጥቂት ጥቂት እየለኮስኩ፣ ከእኔ ያለፈውን በእርጥብ ቅርንጫፍ እየመታሁ አጠፋ ነበር። ልጁ ከመሐል አገር ለባንክ ሥራ የመጣው በቅርቡ ነው። "እሳት! እሳት!" እያለ አጥሩን ዘሎ ባልዲውን ገለበጠው። እሳቱም ጠፋ፣ እኔም ከአናቴ እስከ ጫማዬ በሰበስኩ። ከዚያ በኋላ ነው እንግዲህ፣

"ቆይ፣ ለምንድነው የምታቃጥይው?" ያለኝ።

"ቀድመህ ብትጠይቀኝ ኖሮ ይሄኔ ደረቅ ነበርኩ" አልኩት።

አፍሮ ሳቀ። እኔ ግን ቀሚሴን እየጨመቅኩ ያስታወስኩት ሐሚድን ነው። ሐሚድንና የማንጎውን ግንቦት።

ያኔ ሃያዎቹ ውስጥ ገና መግባቴ ነበር። አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሼ፣ አጭር የሕግ ሥልጠና ወስጄ፣ አሶሳ ውስጥ በአንድ የወንጀል ችሎት የሕግ ረዳት ሆኜ ተቀጥሬያለሁ። ሥራው እንዲህ ነው፦ መዝገቡን ከዳኞቹ ቀድሜ አነባለሁ፣ ሕጉ ምን እንደሚል እፈልጋለሁ፣ ከዚያ "የሕግ አስተያየት" የሚባል ነገር ጽፌ ለሦስቱ ዳኞች እሰጣለሁ። ካሳመናቸው ይቀበሉታል፣ ካላሳመናቸው መሳቢያ ውስጥ ይከቱታል። ስሜ የትም አይጻፍም። "ፍርድ ቤቱ እንደመረመረው" ተብሎ ሲነበብ፣ የመረመርኩት እኔ ብሆንም ጥጌ ላይ ተቀምጬ እንደማንኛውም ሰው አዳምጣለሁ። እኔ ደግሞ ለመቀመጥም ለዝምታም አልተፈጠርኩም። ከወንበሬ ይልቅ ኮሪደሩን ነው የጨረስኩት።

ሰብሳቢው ዳኛ ጋሽ ኃይሉ ከጎጃም የመጡ፣ ቀጭን፣ ረጋ ያሉ ሰው ነበሩ። በችሎት ሳሉ ብዕራቸውን ከከደኑ ነገሩ አብቅቷል ማለት ነው። ጠበቆቹም እኛም ከአፋቸው ይልቅ የብዕራቸውን ክዳን ነበር የምናየው።

በአሶሳ ግንቦት የማንጎ ወር ነው። መንገድ ዳር በየጆንያው ይቆለላል፣ ልጆች አገጫቸው ቢጫ ሆኖ ይውላል፣ ፍየሎች ሳይቀሩ ይጠግባሉ። የችሎቱ ግቢ ዛፎች ፍሬያቸውን ቆርቆሮ ጣሪያው ላይ ይጥሉታል። ዷ! ባለ ቁጥር ምስክር ይደነግጣል፣ ታሳሪ ይስቃል። ዝናቡም በዚያው ወር ይገባል። ሲወርድ መደማመጥ ስለማይቻል ጋሽ ኃይሉ እጃቸውን አጣጥፈው ይጠብቃሉ። ከሳሽ፣ ተከሳሽ፣ ፖሊስ፣ ሁላችንም ጣሪያውን እያየን አብረን ዝም እንላለን። ከዚያ ሥራ ውስጥ ደስ የሚለኝ ዝምታ ያ ብቻ ነበር።

ሐሚድ የቀረበው በእንደዚያ ዓይነት ቀን ነው። ከመንጌ መንገድ ገባ ብላ ካለች ትንሽ መንደር የመጣ የበርታ ገበሬ ነበር፤ በበጋ ወንዝ ወርዶ ወርቅ ያጥባል። ክሱ ከባድ ነው። በየካቲት ወር፣ በቀትር፣ ነፋስ እየነፈሰ ሣር ለኩሶ፣ የጎረቤቱን የሽማግሌውን የአቶ ሙሳን ጎተራ ከነማሽላው አቃጥሏል ይላል። አስተርጓሚ ይፈልግ እንደሆነ ሲጠየቅ "አይ፣ እኔ አማርኛ ይችላል" አለ። ጠበቃ ይመደብልህ ሲባል ደግሞ ግራ ገብቶት ዳኛውን አያቸው።

"እውነት ለመናገር ጠበቃ ምን ያደርጋል?"

ጋሽ ኃይሉ ፈገግታቸውን ዋጥ አድርገው ክሱን አስነበቡለት። "ሣሩን የለኮስከው አንተ ነህ?"

"አዎ። እኔ ነው ያቃጠለው።"

"የአቶ ሙሳ ጎተራ የተቃጠለው በዚያ እሳት ነው?"

"አዎ። በእኔ እሳት።"

"ይህን ስታደርግ ጥፋት መሆኑን ታውቃለህ?"

ሐሚድ ትንሽ አሰበ። "የሰው ጎተራ ተቃጠለ። ጥፋት ነው።"

የቋንቋ ችግር አልነበረም። የተጠየቀውን በደንብ ሰምቷል፣ የመለሰውንም ሁላችን በደንብ ሰምተናል። ዐቃቤ ሕጉ ብድግ ብሎ ተከሳሹ በግልጽ ስላመነ ጥፋተኛ ይባልልን አለ። ጋሽ ኃይሉ ብዕራቸውን ከደኑ። ለብይን ተቀጠረ።

ሲወጡ ወደ እኔ ጎንበስ ብለው፣ "ቅጣቱን አስዪልኝ። የዓመት እህል ነው የነደደው፣ በዓመታት የሚቆጠር እስር ነው" አሉኝ።

በምሳ ሰዓት ግቢው ውስጥ አንዲት ሴት ሕፃን አዝላ ከማንጎው ሥር ተቀምጣለች። የሐሚድ ሚስት መሆኗን ያወቅሁት ጠዋት ከችሎቱ አግዳሚ ጫፍ ልጁን ከፍ አድርጋ ስታሳየው ስላየኋት ነው። እኔ ማን እንደሆንኩ እሷ አታውቅም። ማንጎ ልጣ ግማሹን ዘረጋችልኝ፣ ተቀብዬ በላሁ። አፈሩን በእግሯ ጣት ጫር ጫር እያደረገች፣

"ዝናብ መጣ" አለች። "ማሽላ ማን ይዘራል?"

"አላውቅም" አልኳት። የእውነቴን ነው። ጣቶቼን እየላስኩ ወደ ቢሮ ተመለስኩ።

ቅጣቱን ለማስላት ተቀመጥኩ፣ አልቻልኩም። ተነሳሁ። ኮሪደሩን ሄድኩ፣ መጣሁ። አንዲት ቃል እንደ ማንጎ ቃጫ ጥርሴ ውስጥ ተሰክታ ቀርታለች፦ የካቲት።

አባቴ በሰፈራ ከወሎ የመጣ ሰው ነው። አገሩ ሳለ ሣር የከብት መኖ መሆኑን እንጂ ሌላ አያውቅም ነበር። እዚህ የማቃጠልን ነገር ያስተማሩት የበርታ ጎረቤቶቹ ናቸው። የሚቃጠለው በኅዳር ነው፣ ሣሩ ገና ግማሽ እርጥብ ሳለ፣ ጠዋት፣ ጤዛው ሳይለቅ። የቤትህን ዙሪያ ቀድመህ ካቃጠልክ፣ በጋ ላይ ከጫካ የሚመጣው እሳት የሚበላው አጥቶ ይቆማል። በየካቲት ግን ሣሩ ክብሪት ነው። በየካቲት፣ በቀትር፣ በነፋስ የሚለኩስ የዚህ አገር ሰው የለም። አንዴ ብቻ አይቻለሁ። አራተኛ ክፍል ሳለሁ ከኮረብታው እሳት እየጮኸ ወደ ሰፈራችን ወረደ። አባቴ የተለኮሰ አገዳ ይዞ ወደ እሳቱ ሮጠ። አበደ ብዬ አለቀስኩ። ከፊት ለፊቱ ያለውን ሣር ለኮሰው፣ ያም ወደዚያኛው ሄደ፣ ሁለቱ ተገናኝተው የሚበሉት ሲያጡ ጸጥ አሉ። የጎረቤታችን ቀፎዎች ነደዱ። ቤቶቹ ተረፉ።

ጋሽ ኃይሉ ቢሮ ሳላንኳኳ ገባሁ። ጋዜጣ ዘርግተው ማንጎ በቢላ እየቆረጡ ነው። ቸኩለው የሚበሉት ነገር የላቸውም።

"ጋሼ፣ ይሄ ሰውዬ መንደሩን ሊያድን ነው ያቃጠለው።"

"ማን ነገረሽ?"

"ማንም። በየካቲት ማን ያቃጥላል? እሳት እየመጣ ካልሆነ በቀር።"

"መዝገቡ ላይ ሌላ እሳት አለ?"

"የለም። ግን አውቃለሁ! አባቴም እንደዚሁ..."

ቢላውን አስቀመጡ። "ስሚኝ ልጄ። አንቺ ያየሽውን ልትነግሪኝ ከሆነ ምስክር ነሽ፤ ምለሽ የምስክር ሳጥን ውስጥ ቁሚ፣ ዐቃቤ ሕጉም ይጠይቅሽ። አማካሪ ከሆንሽ ደግሞ አባትሽን እቤት ትተሻቸው ነይ። የቱ ነሽ?"

"ሁለቱም" አልኩ። አፌ አያርፍም።

"ሁለቱንም መሆን አይቻልም" አሉና ወደ ማንጎአቸው ተመለሱ።

ተናድጄ ወጣሁ። ልክ ስለሆኑ ነው ይበልጥ የተናደድኩት። ዳኛ ከበር ውጪ በሰማው ነገር ከፈረደ፣ ዛሬ ለሐሚድ የጠቀመ ነገ ሌላውን ይበላል። ግን ደግሞ የዚያች ሴት ማሽላ ሳይዘራ ዝናቡ እየሄደ ነው። አመሻሹን ሁሉ ሕጉን ሳገላብጥ ቆየሁና የምፈልገውን አገኘሁ። አዲስ ነገር አይደለም፣ ሥልጠና ላይ ሸምድጄው የነበረ ነው። እምነት እምነት የሚሆነው ተከሳሹ የወንጀሉን ፍሬ ነገር በሙሉ፣ ያለ አንዳች ቅድመ ሁኔታ ሲያምን ነው። እጁ የሠራውን ብቻ ሳይሆን ያሰበውንም ጭምር ማለት ነው። የሐሚድን እጅ ጠይቀናል። ሐሳቡን ግን ፖሊስም፣ ዐቃቤ ሕግም፣ እኛም አልጠየቅንም።

ጠዋት አስተያየቴን ጠረጴዛቸው ላይ አኖርኩ። ጋሽ ኃይሉ መነጽራቸውን ሰክተው ጮክ ብለው አነበቡት፦ "ተከሳሹ ማቃጠሉን እንጂ ወንጀሉን አላመነም። ለምን እንዳቃጠለ ይጠየቅ።" ወረቀቱን ገለበጡት። ጀርባው ባዶ ነው።

"ይሄ የሕግ አስተያየት ነው ወይስ ቴሌግራም?"

"አባቴን እቤት ትቼው ስለመጣሁ ነው ያጠረው።"

ለመጀመሪያ ጊዜ ጥርሳቸውን አየሁት።

በቀጠሮው ቀን ሐሚድን አስቀርበው፣ ብይኑን ከማንበብ ይልቅ ወደ ፊት ዘንበል አሉ። "ሐሚድ፣ ሣሩን ለምን ለኮስከው?"

ሐሚድ ሰው ሁሉ የሚያውቀውን እንደተጠየቀ ሰው ቆመ። "እሳት እየመጣ ነበር። ትልቅ እሳት፣ ከጫካ። ሌላ ምን ይደረጋል?"

ዐቃቤ ሕጉ ወረቀቱን አገላበጠ። ጋሽ ኃይሉ ቃሉ ወንጀሉን እንዳላመነ ተቆጥሮ እንደ ክህደት ይመዝገብ አሉ፣ ምስክሮች ይቅረቡ ተባለ። ሐሚድ ወደ ማረሚያ ቤት ተመለሰ። ያን ሰሞን ዝናብ በዘነበ ቁጥር መስኮቱ ጋ እየሄድኩ እቆም ነበር።

አቶ ሙሳ ሲመጣ ነጭ ጀላቢያ ለብሶ፣ ምርኩዙን ይዞ፣ መጀመሪያ ለተከሳሹ ነበር ሰላምታ የሰጠው። ዐቃቤ ሕጉ ጎተራህን ማን አቃጠለ ሲለው በምርኩዙ ጠቆመ።

"ሐሚድ። አሁን የቆመው።"

"አመሰግናለሁ፣ ጨርሻለሁ።"

"እኔ አልጨረሰም" አለ ሽማግሌው። "ሐሚድ እሳት ይዞ መጣ፣ ጎተራ አየና ቆመ። 'ሙሳ፣ ጎተራህ!' አለ። 'ተወው፣ ይቃጠል!' ያልኩት እኔ ነው። ቤት ውስጥ ልጆች ነበሩ። ወላሂ፣ ማሽላ በዓመቱ ይበቅላል፣ ልጅ ይበቅላል?"

ጣሪያው ላይ ማንጎ ወደቀ። ማንም አልሳቀም።

"ታዲያ አባቴ፣ ለምን ከሰሱት?" አሉ ጋሽ ኃይሉ።

"እኔ? እኔ አልከሰሰም! ፖሊስ መጣ፣ 'ማን አቃጠለ?' አለ። ሐሚድ አልኩ። ውሸት ልናገር? ይጠይቁታል፣ ይመልሱታል አልን።"

ዳኛው ወደ ተከሳሹ ዞሩ። "አንተስ፣ ባለቤቱ ፈቅዶልኝ ነው ብለህ ለምን አልተናገርክም?"

ሐሚድ መሬት መሬት እያየ ነው የመለሰው። "ጎተራው የእሱ ነው። የተቃጠለበት ሰው ሳይናገር፣ ያቃጠለው ሰው 'ፈቀደልኝ' ይላል? ነውር ነው።"

ጋሽ ኃይሉ ብዕራቸውን ለመክደን ቸኩለው አያውቁም ነበር፤ ያን ቀን ቸኮሉ። ተከሳሹ መከላከል ሳያስፈልገው በነጻ ተሰናበተ። "ፍርድ ቤቱ እንደመረመረው" ሲሉ ወደ እኔ ጥግ የተመለከቱ መሰለኝ፤ ምናልባት ሰዓቱን አይተው ይሆናል፣ ግድግዳው ላይ ከአናቴ በላይ ነበር።

ወረቀቱ አልቆለት ሲፈታ በር ላይ አገኘሁት። በስስ ፌስታል ልብሱን ይዟል፣ ሚስቱ ልጁን አቅፋ አጠገቡ ነች።

"እህቴ፣ የመንጌ መኪና ከየት ነው የሚነሳ?"

አሳየሁት። መናኸሪያው ማዶ መሆኑን ነገርኩት።

"ዳኛው ጥሩ ሰው ነው" አለኝ ፊቱ በርቶ። "'ለምን' ብሎ ጠየቀ።"

'ያስጠየቅሁት እኔ ነኝ' የሚለው ምላሴ ላይ መጥቶ ነበር። ያልሆንኩትን እንኳ ለመናገር የማልሰንፍ ሰው፣ የሆንኩትን ዋጥኩት። ደግሞም የጠየቁት እሳቸው ናቸው፣ አልዋሸም። "አዎ፣ ጥሩ ሰው ናቸው" አልኩት።

በዚህ መሐል ሚስቱ ትኩር ብላ አየችኝና በቋንቋቸው አንድ ነገር ብላው ሳቀች።

"ምን አለች?"

"'ማንጎዬን የበላችው ናት' ትላለች።"

ሦስታችንም ሳቅን። የዘሩ ዝናብ ገና አላለፈም ነበር። እየተጣደፉ ሄዱ።

ከችሎቱ ከወጣሁ ቆይቷል። እንደኔ ዓይነት ሰው በጥግ ወንበር ላይ አያረጅም። ከጻፍኳቸው ረጃጅም አስተያየቶች አንዱም ትዝ አይለኝም፤ ያቺን ቴሌግራም ግን እስከ አራት ነጥቧ አስታውሳታለሁ። የማንም ስም አልነበረባትም፣ አሁን ሳስበው እንደዚያ መሆኗን እወደዋለሁ። በዚያ ጉዳይ የተረፈልኝ ስም "ማንጎዬን የበላችው" የሚለው ነው፤ ይበቃኛል።

ጎረቤቴ ባጠበኝ ቀን ሣሩ በስብሶ ስለነበር፣ የቀረውን የጨረስኩት በማግሥቱ ጠዋት ነው። ጭሱን አይቶ አሁንም ባልዲውን ይዞ ብቅ አለ። ግን አጥሩን አልዘለለም። ከማዶ ቆሞ፣

"ልድፋው ወይስ ልተወው?" አለኝ።

"ተወው" አልኩት፣ "ይቃጠል።"