የጋሽ ሽቶ ደረቅ ገንዳ

ጋሽ ሽቶ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ይህን ስም ያወጣለት ሰፈሩ እንጂ እናቱ አይደለችም። የከተማዋ የፍሳሽ ማጣሪያ ጣቢያ ሲመረቅ ኦፕሬተር ሆኖ ተቀጠረ፤ ሳምንት ሳይሞላው ሽቶ ተባለ። ያገኘው ሁሉ አፍንጫውን ይዞ፣ «ጋሽ ሽቶ፣ ዛሬስ ምን ተቀብተህ ነው?» ይለዋል።

ቀልዱን ለመደው። ያልለመደው የታላቅ እህቱን በር ነው። ወላጆቻቸው ከሞቱ በኋላ ልብስ እየሰፋች ያሳደገችው እሷ ናት። ሥራ በያዘ ማግስት ግን በርጩማ በረንዳ ላይ አወጣችለትና፣ «አንተ ወንድሜ ነህ፤ ሽታው ግን ዘመዴ አይደለም። ቤቴ የሰው ልብስ ተሰቅሏል» አለችው። ከዚያ ወዲህ ዝናብ ቢጥልም ቦታው በረንዳ ሆነ።

የሚያስቀው፣ ጣቢያው ጠብታ ፍሳሽ አይቶ አያውቅም። ሰፈርተኛው፣ «ገና ሳንገባበት እንዲህ ከሸተተ፣ ስንገባበትማ ሊገድለን ነው!» ብሎ ሽንት ቤቱን ከመስመሩ ጋር አላገናኝም አለ። ጋሽ ሽቶ ጠዋት ጠዋት ቱታውን ለብሶ ባዶ ገንዳ ይጠርጋል፤ ያልሠራ ፓምፕ ግራሶ ይቀባል፤ ከሰዓት በኋላ ገንዳው ወለል ላይ ጋደም ይላል። በከተማዋ ንጹሕ አየር ያለው እዚያ ብቻ ነበር። እንዳይናገር ደግሞ አለቃው፣ «በሙሉ አቅሙ እየሠራ ነው ብለን ለበላይ አሳውቀናል። አፍህን ከከፈትክ ጣቢያው ይዘጋል፣ አንተም ውጭ ትቀራለህ» ብሎታል። ከሁለት በር ውጭ መቅረት ለአንድ ሰው ይበዛል።

እህቱ ታማ አልጋ ስትይዝ ግን አላስችል አለው። የእናት ያህል እህቱን በመስኮት «እንዴት አደርሽ» ማለት አንገበገበው። ትንሽ ሲሻላት በጋሪ ጭኖ ጣቢያው ወሰዳት።

አፍንጫዋን በመሐረብ ጥፍንግ አድርጋ ገንዳው አፋፍ ላይ ቆመች። ታች የሚታየው የተጠረገ ሲሚንቶ፣ ጥግ ላይ አሮጌ ፍራሽና ሬዲዮ ነው።

«ፍሳሹስ?»

«ማን ልኮት ይመጣል፣ እትዬ?»

መሐረቡን ቀስ ብላ አነሳች። ትንፋሿን አንዴ ሳበች፤ ደገመች።

«ታዲያ እኔ ቤት የሚሸተው የማን ነው?»

«ጓሮሽ ያለው ቦይ ነዋ። ሰፈሩ ሁሉ የሚለቀው እዚያ ነው።»

«እኔም?»

ጋሽ ሽቶ ፓምፑን ማየት ጀመረ።

«ፓምፑን ተወውና ንገረኝ! እኔም?»

«ያንቺስ ይሻላል፣ እትዬ።»

በዚያው ቀን በርጩማው ቤት ገባ። «ብቻ ለሰው እንዳትናገር» አለችው፤ «ጎረቤት ምን ይለኛል?» እሱ ውስጥ ተቀምጦ ሲበላ፣ እሷ በረንዳ ላይ ከጎረቤቶቿ ጋር ገንዳውን ስትረግም ይሰማ ነበር። አልከፋውም። ገብቷላ!

ጋሽ ሽቶ ድንገት ያረፈ ቀን ሰው እህቱ ቤት ተሰበሰበ። አለቃው ተነሥቶ፣ «ይህ ሰው ባይኖር ከተማችን በፍሳሽ ትጥለቀለቅ ነበር» እያለ ሲያሞግሰው፣ ነፋሱ ከጓሮ መጣ። አንዷ ጎረቤት አፍንጫዋን ይዛ፣ «ወይ ጋሽ ሽቶ፣ ሞቶም አይተወንም!» አለች።

«የራስሽ ነው!» አለች እህቱ፣ እንባዋ እየወረደ። «የራሳችን ነው! እሱ ምን አደረገ?»

ሐዘን ነው ያናገራት ተባለ። እሷ ግን ሐዘንተኛው ሳይበተን ቧንቧ ሠራተኛ አስጠርታ ሽንት ቤቷን ከመስመሩ ጋር አገናኘች። ጋሽ ሽቶ ዕድሜ ልኩን ጠርጎ የጠበቀው ገንዳ የአንድ ቤት ፍሳሽ አገኘ።

ሰፈርተኛውም ወዲያው አፍንጫውን ያዘ። «አያችሁ፣ አሁን ነው መሽተት የጀመረው! በጋሽ ሽቶ ጊዜ መች እንዲህ ነበር?»