የሰፈር ጎማ

በሕይወቴ በብዙ ነገር ተናድጃለሁ፤ እንደ አራት ጎማ ግን ያንገበገበኝ ነገር የለም።

አባቴ አሮጌ ቮልስ አለው። እኔ ሳልወለድ የገዛት፣ ወተት የመሰለች፣ ስትነሳ ሰፈሩን ሁሉ የምትቀሰቅስ መኪና ናት። ጡረታ ከወጣ ወዲህ ሥራው እሷ ናት ማለት ይቻላል። በአዘቦት ቀን ያጥባታል፣ ይወለውላታል፤ እሑድ ደግሞ ከሽሮ ሜዳ በላይ ካለው ቤታችን ተነስቶ ቸርች ይሄድባታል። ሲመለስ ታክሲ ላይ መንጠልጠል የማይችሉትን አዛውንት እህቶች እየጫነ በየደጃቸው ያወርዳቸዋል። በዚህ በጣም ይኮራል። እኔም እኮራበት ነበር።

ባለፈው ክረምት ግን ሦስት ሴቶች ጭኖ ቁልቁለቱን ሲወርድ ከፊቱ የነበረው ሚኒባስ ድንገት ቆመበት። አባቴ ፍሬን ያዘ። ፍሬኑ ሠራ፤ ጎማዎቹ ግን መንገዱን አልያዙም። መኪናዋ ዝናብ ባራሰው አስፋልት ላይ በጎኗ ተንሸራታ ሄደችና የኋላ እግሯ መንገድ ዳር ክዳኑ የተነሳ የጎርፍ ቱቦ አፍ ላይ ሲደርስ ቆመች። ይህን የነገረኝ አባቴ አይደለም፤ እሱማ ትንፍሽ አላለም። በሳምንቱ ከሦስቱ አንዷ እኔ የምሠራበት ፋርማሲ የግፊት መድኃኒታቸውን ሊወስዱ መጥተው እየሳቁ አጫወቱኝ። «ጌታ አተረፈን» አሉኝ። እሳቸው ሲስቁ የእኔ ደም ይፈላ ነበር።

ከሥራ ስወጣ በቀጥታ አባቴ ቤት ሄድኩና ጎማዎቹን ጎንበስ ብዬ አየኋቸው። ከላይ ሲታዩ ምንም አይሉም፣ ጥርሳቸው ጥልቅ ነው። ከቤት ቸርች፣ ከቸርች ቤት ብቻ የምትሄድ መኪና ጎማ እንዴት ብላ ትጨርሳለች! ጎናቸው ግን እንደደረቀ ጭቃ ተሰነጣጥቋል። ጎማ የተሠራበት ሳምንትና ዓመት ጎኑ ላይ በአራት አኃዝ ተጽፎ ይገኛል። ፈልጌ አነበብኩት። እኔ ቀን ማንበብ ሥራዬ ነው፤ ጊዜው ያለፈበትን ሽሮፕ፣ ጠርሙሱ ሙሉ ነው ብዬ ለሰው ልጅ አልሰጥም። እነዚህ ጎማዎች የተሠሩት እኔ ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ ነበር። አሁን ሽበት አውጥቻለሁ።

አባቴ በረንዳው ላይ ቆሞ ያየኛል። ጥርሱን አታዪም ወይ፣ ገና አዲስ እኮ ነው አለኝ።

ታዲያ በየዓመቱ ቦሎ ለማውጣት መኪና ይመረመራል፤ መርማሪዎቹም ጎማ ያያሉ። ይህ ጎማ እንዴት አለፈ ብዬ ጠየቅኩት። አባቴ መዋሸት አይችልበትም። ቅንጣት እፍረት ሳይታይበት ሁሉንም ነገረኝ።

በሰፈራችን ሦስት ቮልሶች አሉ። አንዷ የአባቴ ናት፤ ሁለተኛዋ ከእኛ ዝቅ ብሎ ሱቅ ያላቸው፣ ሁላችንም ሐጂ ብለን የምንጠራቸው ሰውዬ ናት፤ ሦስተኛዋ የአንድ ጡረተኛ መምህር ናት። ሦስቱ ሽማግሌዎች ከዓመታት በፊት ተመካክረው አራት ደህና ጎማ ከነቸርኬው፣ ማለትም ጎማው ከሚቀመጥበት ብረት ጋር፣ በጋራ ገዝተዋል። የቮልስ ቸርኬ ሁሉም አንድ ስለሆነ ከአንዷ ፈትቶ ለሌላዋ ማሰር የአፍታ ሥራ ነው። ጎማው የሰፈራችን ጎሚስታ ጋ ተሰቅሎ ይኖራል። ቦሎ የደረሰበት ሰው ይወስደዋል፣ ያስረዋል፣ ተመርምሮ ያልፋል፣ ፈትቶ ይመልሰዋል። ከዚያ የራሱን ስንጥቅጥቅ አስሮ ዓመቱን ሙሉ ይነዳል።

እድር እንዳልለው እድር አይደለም። አንዱ የቸርች ሽማግሌ፣ አንዱ መካ ደርሰው የመጡ፣ አንዱ ዕድሜ ልካቸውን ሥነ ምግባር ያስተማሩ፣ ሦስት የተከበሩ ሰዎች ተራ ጠብቀው መርማሪ ያታልላሉ። መርማሪውን ብቻ ቢሆን ግድ አልነበረኝም። የሚያታልሉት እኮ ራሳቸውን ነው። ጎሚስታውም ሲያስር ይከፈለዋል፣ ሲፈታ ይከፈለዋል፤ እሱ ምን ቸገረው።

በቃ እኔ እገዛልሃለሁ አልኩት። ጎማ መግዛት ይህን ያህል መከራ መሆኑን አላውቅም ነበር። መርካቶ ጎማ እስከ ጣሪያ ተደርድሯል፤ ግን ዘንድሮ ከተማውን ላጥለቀለቀው የኤሌክትሪክ መኪና የሚሆን ሰፋፊ ጎማ ነው። የቮልስ ጎማ ቀጭን ነው፤ ቁጥሩን ስናገር የሚስቅብኝ ሰው አላጣሁም። ለወጉ ያህል ታናሽ ወንድሜን ይዤ ሄጄ ነበር፤ መኪና መንዳት አይችልም። የመጀመሪያው ነጋዴ ግን እኔ ስጠይቀው የሚመልሰው ለእሱ ነው። ወንድሜ እንደገባው ሰው ራሱን ይነቀንቃል። ሁለቱንም በጥፊ ማለት አማረኝ።

ሁለተኛው ሰፋ ያለ ጎማ አምጥቶ ይገባል አለኝ። ይገባልማ! መሪው ሲዞር ግን ከፓራፋንጎው ጋር እየተፋጨ፣ ከላይ ያለውን ቆርቆሮም ጎማውንም ይበላዋል። ይህን ስለው፣ እንግዲያው ብዙ አትዙሪ አለኝ። ሽሮ ሜዳ ላይ ሳይዞሩ መንዳት ይሞከርልኝ።

ሦስተኛው ትክክለኛው ቁጥር ነበረው። ጎማው እንደ መስታወት ያበራል። ጣቴን ሳሳርፍበት ጥቁር ቀለም ሆኖ ተነሳ፤ ከቀለሙ ሥር ያው ስንጥቅ። ቀኑን ሳሳየው ምንም አልደነገጠም። «ጎማ እኮ ምግብ አይደለም እህቴ፣ አይበላሽም» አለኝ። የምሸጠው መድኃኒት ቢሆንና ይህን ለደንበኛ ብናገር እስር ቤት ነበር የምገባው።

ከሁሉ በላይ ያሳበደኝ ግን አንድ ጥያቄ ነው። ከሱቅ ወደ ሱቅ ስዞር ጎማ ብዬ አፌን ገና ስከፍት ይጠይቁኛል፤ ለቦሎ ነው ወይስ ለመንዳት? ሁለት የተለያየ ዕቃ አድርገው ነው የሚያዩት። ለቦሎ ከሆነ ያለቀ ጎማ ላይ በጋለ ብረት አዲስ ጥርስ የተቀረጸበት አለ፣ ርካሽ ነው፣ ለአንድ ቀን ይበቃሻል ይሉኛል። ለመንዳት ነው ስል ደግሞ ቅንጦት የጠየቅኩ ይመስል ትክ ብለው ያዩኛል። እንግዲህ ይህ የእኛ ሰፈር ሽማግሌዎች ጥበብ ብቻ አልነበረም ማለት ነው፤ ከተማው ሁሉ በዚሁ ነው የሚሄደው። መንገድ ዳር ቆሜ ሚኒባስ በመጣ ቁጥር ጎማውን ማየት ጀመርኩ። ባላየው ይሻለኝ ነበር።

በመጨረሻ አንድ ነጋዴ አስመጣልሻለሁ አለኝ። ጠበቅኩ። ሲመጣ አራቱንም አንድ በአንድ አገላብጬ ቀናቸውን አነበብኩ፤ አንዱ ከሦስቱ በብዙ ያረጀ ሆኖ ተገኘ። አልወስድም አልኩ። ሰውየው ሦስት አዲስ አግኝተሽ በአንድ ትጨቃጨቂያለሽ ብሎ ተቆጣኝ። እኔም ተቆጣሁት። እንደገና ጠበቅኩ፤ በኋላ አራተኛውም መጣ። አንድ ነገር ከጀመርኩ አይቀር ብዬም የዛገውን ቸርኬ ትቼ ከፈረሰች ቮልስ ላይ የወጣ ደህና ቸርኬ ገዛሁለት። አሁን ሳስበው ጎማውን ለማዋስ እንዲመች አድርጌ የሰጠሁት እኔው ነኝ።

አዲሱ የታሰረ ቀን አባቴ መኪናዋን እስከ እንጦጦ መውጫ ነድቶ ተመለሰ። ድምጿ ጠፋ እኮ፣ ቀጥ ብላ ነው የምትወርደው አለኝ፤ ፊቱ ልጅ መስሏል። ጎሚስታው አሮጌዎቹን ለበረባሶ ጫማ ሠሪ ልስጣቸው ሲል አባቴ እምቢ አለና ከነቸርኬያቸው ጓዳ አስገብቶ ደረደራቸው። ሽማግሌ ዕቃ መጣል አይወድም ብዬ ተውኩት።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት እንጀራ ልሰጠው ብቅ ስል መኪናዋ በር ላይ ቆማለች። ያጎነበስኩት እንዲያው በልማድ ነው። ስንጥቅጥቆቹ ናቸው። ዝናቡ ሌሊቱን ሲወርድ አድሮ አስፋልቱ ያብለጨልጫል። አባቴ ከረባቱን አስሮ ወጣ፤ እነዚያኑ ሦስት ሴቶች ይዞ ከሰዓት ሸጎሌ ለቅሶ ሊደርስ ነው።

«ጎማው የት ሄደ?» አልኩት።

ለሐጂ ቦሎ ደርሶባቸው ሰጥቷቸዋል። ሰኞ ይመልሳሉ፣ ቀጥሎ መምህሩ ይወስዳሉ። የድሮው የጋራ ጎማ በዕድሜ ተሰነጣጥቆ ስለተጣለ ከእንግዲህ ለሦስቱም የሚሆነው የእኔ ነው ተባብለዋል። ይህን ሁሉ የሚነግረኝ ደስ እንዲለኝ እየጠበቀ ነው።

ጮህኩ። ጎረቤት እስኪሰማ ጮህኩ። ሱቅ ለሱቅ የዞርኩት ለሰፈር ቦሎ ነው ወይ አልኩት፤ ቱቦው አፍ ላይ የቆመችው መኪና የማን ነበረች አልኩት። አባቴ እስክጨርስ ጠበቀኝ። ቀስ ብሎ ነበር የተናገረው።

«እናትሽ ታማ መኪናዬ ጋራዥ የቆመች ጊዜ፣ ሆስፒታል ያመላለሷት ሐጂ ናቸው። አንድ ቀን ቤንዚን ሙላ አላሉኝም። አሁን ጎማ ሲሉኝ እምቢ ልበል?»

«እሳቸው እናቴን ሆስፒታል አደረሷት። አንተ እነዚህን ሴቶች በዚህ ጎማ የት ልታደርሳቸው ነው?»

ደረጃው ላይ ተቀመጠና ከረባቱን ማላላት ጀመረ። ይሉኝታ የሚባለውን ነገር እጠላዋለሁ፤ ያን ቀን ደግሞ ከምንጊዜውም በላይ ጠላሁት። ሰው እምቢ ማለት አፍሮ ሦስት ሴቶች ይገድላል? አንተ እምቢ ማለት ካልቻልክ እኔ እችላለሁ አልኩትና እንዳይነዳት የመኪናዋን ቁልፍ ይዤ በእግሬ ቁልቁል ወደ ሐጂ ቤት ወረድኩ።

ሐጂ ሱቃቸው በር ላይ ተቀምጠዋል። በመንገድ ላይ ያዘጋጀሁት ንግግር ነበረኝ፤ አላስፈለገኝም። ምርመራውን ሐሙስ አልፈዋል፤ ጎማው ግን ገና መኪናቸው ላይ ነው። እንደምፈልገው ስነግራቸው ፊታቸው እንኳ አልተለወጠም፤ የሰው ዕቃ ነው፣ ባለቤቱ ሲፈልግ ይወስዳል፣ አዘገየሁብሽ ይቅርታ አሉኝ። ከዚያ ጎሚስታውን አስጠሩት። እያፏጨ መጣ፤ ድንጋይ አስደግፎ፣ ክሪኩን አስገብቶ የመጀመሪያውን ጎማዬን ፈታ። ሐጂ ከሱቁ ጀርባ የራሳቸውን እያንከባለሉ አመጡ።

የአባቴን ጎማ ክፉ ብዬ ነበር። ይህኛው ጥርስ የሚባል የለውም፤ አንዱ ላይማ ላስቲኩ አልቆ የውስጡ ክር ይታያል። «በዚህ ነው የሚነዱት?» አልኳቸው። ምን ላድርግ ልጄ፣ የት ይገኛል ብለሽ ነው አሉኝ። የት እንደማይገኝ ከእኔ በላይ የሚያውቅ አልነበረም። ተወው፣ አትፍታ ልል አፌን ከፈትኩ። ግን መኪኖቹ ሁለት፣ ጎማዎቹ አራት ናቸው፤ ላይ ቤት አባቴ ከረባቱን እንዳላላ ይጠብቃል። ጎሚስታው ብሎን ሲለኝ ብሎን አቀበልኩት፤ አራቱንም በዚሁ ሁኔታ አሰርናቸው።

ገና ክሪኩ ሲወጣ የሐጂ ባለቤት ነጠላ ሻርፓቸውን ተከናንበው፣ ጉልበታቸውን ይዘው ቀስ እያሉ ከግቢ ወጡ። እህታቸውን ሊጠይቁ ነው፤ ሐጂ ሊያደርሷቸው ነበር። ጎማው መቀየሩን አይተዋል። የወንበሩን መደገፊያ ይዘው እንደምንም ከፊት ከተቀመጡ በኋላ እጄን ያዙኝ።

«ጎማሽን ስላዋስሽን አላህ ኸይርሽን ይክፈልሽ፣ የኔ ልጅ። ይህን ሳምንት ቁልቁለቱን ሳልፈራ ነው የወረድኩት።»

አሜን አልኳቸው። የቮልስ በር ገፋ ካላደረጉት አይዘጋም። ገፍቼ የዘጋሁላቸው እኔ ነኝ። ሐጂ አስነስተው ቁልቁለቱን ሲጀምሩ ጎሚስታው አራቱን ጎማዬን ግድግዳው ላይ አስደግፎ ይጠብቀኝ ነበር።