ገማቹ የበላበት ቤት

ነቀምቴ፣ ቡርቃ ጃቶ ሠፈር አግብቼ በገባሁ በዓመቱ፣ ቡናም ኮታ እንዳለው ሰማሁ። ቡና የሚያበቅሉ አገሮችና ቡና የሚጠጡ አገሮች ባሕር ማዶ ተሰብስበው፣ እያንዳንዱ አገር በዓመት ይህን ያህል ይሽጥ፣ ከዚያ በላይ አይሽጥ ብለው ተዋውለዋል አሉ። ባለቤቴ ይህን ወሬ ይዞ ከአዲስ አበባ ሲመለስ ፊቱ አመድ መስሎ ነበር። ጫማውን እንኳ ሳያወልቅ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አለና "ድርሻችሁ ሞልቷል አሉኝ" አለ።

ባለቤቴ ቡና ነጋዴ ነበር፣ ያውም ትንሽ ነጋዴ። ከኑኑ ቁምባ በበቅሎ የሚመጣለትን ቡና እየገዛ ግቢያችን ውስጥ ባለችው የቆርቆሮ መጋዘን ያከማቻል፤ ሲጠራቀምለት የጭነት መኪና ተከራይቶ በአኖ መንገድ አዲስ አበባ ላሉ ላኪዎች ይወስዳል። ያን ዓመት ላኪው "የአገራችን ድርሻ ሞልቷል፤ የተረፈውን ውሉ ውስጥ ላልገቡ አገሮች በወደቀ ዋጋ ካልሆነ የሚገዛ የለም" ብሎ መለሰው። መጋዘናችን ግን እስከ ጣሪያው ሙሉ ነበር፤ ለገበሬው የተከፈለውም ባምናው ዋጋ ነው።

እኔ የመንግሥት ትምህርት ቤት አስተማሪ ነበርኩ። ጂኦግራፊ አስተምራለሁ፤ ብራዚልንም እንግሊዝንም አሜሪካንም በጠመኔ ሰሌዳ ላይ እየሣልኩ ልጆቹን በቃል አስጠናለሁ። ያን ቀን ግን ክው ብዬ ቀረሁ። ኑኑ ቁምባ የምትባል አገር መኖሯን የማያውቁ ሰዎች፣ ከኑኑ ቁምባ የሚወጣው ቡና የት ድረስ እንደሚሄድ ይቆርጣሉ? ያ ሁሉ ካርታ ስሥል ማንም ይህን አልነገረኝም! ሞኝነቴ አናደደኝ፤ የሰዎቹ ድፍረት ደግሞ ከዚያ የባሰ አናደደኝ።

ነገሩን ለአማቴ ያስረዳሁት እኔው ነኝ። አማቴ የሚስዮኑ ጸሎት ቤት ምእመን ናቸው፤ ሁላችንም "አዮ" እንላቸዋለን፣ እናታችን ማለት ነው። እኔ ከጎጃም መጥቶ እዚህ የቀረ ሰው ልጅ ብሆንም ተወልጄ ያደግሁት ነቀምቴ ስለሆነ፣ ከእሳቸው ጋር የምንነጋገረው በኦሮምኛ ነው። አዮ ጸጥ ብለው ሰሙኝና "ዝናቡንስ?" አሉ። "ዝናቡንም ለየአገሩ ደለደሉት?" እኔ ሳቅሁ። ባለቤቴ አልሳቀም።

የማይስቅበትም ምክንያት ነበረው። አባቱ ዕድሜ ልኩን የሰው ቡና ሲጭንና ሲያወርድ ኖሮ የሞተ ሰው ነው። ከዚያ ቤት በገዛ ስሙ ንግድ ፈቃድ ያወጣ የመጀመሪያው ሰው ባለቤቴ ነበር። ከተማው ውስጥ ደግሞ መኪናዎች ያሉት አንድ ትልቅ ነጋዴ "ፈቃድህን መልስና በደሞዝ ግዛልኝ" እያለ ዓመቱን ሙሉ ይዞረው ነበር። ከዚህ የሚያድነን አንድ ነገር ብቻ ቀርቶ ነበር፣ ግብሩ። የዚያ ዓመት ግብር ቀለል ካለልን ቡናውን በኪሳራም ቢሆን ሸጠን እንደገና እንጀምራለን። ከከበደ ግን ባለቤቴ ወደ አባቱ ሥራ መመለሱ ነው።

ያኔ የሒሳብ መዝገብ የማይዝ ነጋዴ ግብሩ የሚቆረጠው በግምት ነበር። ገማቾቹ እየዞሩ መጋዘኑን ያያሉ፣ ሱቁን ያያሉ፣ ኑሮውን ያያሉ፣ ከዚያ ይገምታሉ። ያን ሰሞን ዋናው ገማች ከአዲስ አበባ የተላከ አዲስ ሰው ነው ተባለ። መኪናው አኖ ላይ ተበላሽቶበት እዚያ ማደሩን አንድ ሾፌር ነገረን፤ ነገ ከነገ ወዲያ ቡርቃ ጃቶ መግባቱ ነው።

"በአባቴ አገር ገማች መጣ ሲባል ደህና በሬ ጫካ ይገባል" አልኳቸው አዮን፣ ለጨዋታ። "ደህና ጋቢም ጎታ ውስጥ ይደበቃል።"

አዮ አፋቸውን ያዙ። "ከኬሱማ? ከእንግዳ ይደበቃል? ኢንታላ ኮ፣ ልጄ፣ ሰውየው እኮ መንገድ ላይ አድሮ ነው የሚመጣው!"

ለእሳቸው ገማቹ መንግሥት አልነበረም። አገሩን የማያውቅ፣ መኪናው የተሰበረበት፣ እናቱ የራቀች እንግዳ ነበር። በእኛ ሠፈር ደግሞ የክብር እንግዳ ሲመጣ ቤቱን የሚያለብሰው ሠፈሩ ነው። ወንበር ከአንዱ፣ ሰሃን ከሌላው ይመጣል፤ ለእነሱም እንግዳ ሲመጣባቸው የኛ ዕቃ ይሄዳል። ማታውኑ አዮ ነጠላቸውን ጣል አድርገው ወጡ፤ ሲመለሱ ከኋላቸው ጎረቤታችን ምንጣፍ ተሸክማ፣ ሬዲዮም በጉያዋ ይዛ ገባች።

ይህች ጎረቤታችን የሸዋ ልጅ ናት፤ ከእኔ ብዙም አትበልጥም። ባሏ ኮንጎ የዘመተ ወታደር ነበር፤ ምንጣፉንና ሬዲዮውን ያመጣላት እሱ ነው። ከተመለሰ በኋላ ታሞ ሞተ። እሷም ሕፃን ልጇን ታቅፋ በቤቷ መስኮት ጨውና ላምባ እየቸረቸረች ትኖራለች። ምንጣፉ ላይ ሁለት ፒኮኮች ተሠርተውበታል፤ በዚያ ሠፈር እሱን የሚያህል ጌጥ አልነበረም። በገዛ እጇ ግድግዳችን ላይ ሰቀለችው፤ ሬዲዮውንም ጠረጴዛ ላይ አድርጋ ዳንቴል አለበሰችው። "አዮ፣ ቤትሽ ሠርግ ቤት መሰለ" አለች። እኛም ደስ አለን። የሰው ወርቅ አያደምቅ የሚለው ተረት ያን ማታ ለማናችንም ትዝ አላለን።

ገማቹ ከሁለት ረዳቶቹ ጋር መጣ። ጨዋ ሰው ነው፤ ገና በሩ ላይ ባርኔጣውን አወለቀ። በግ ታርዶለታል። አንጮቴ በቅቤ ርሶ ቀረበለት፤ ሥር መሆኑን ስነግረው ማመን አቃተው። አዮ ጸሎት ቤት ስለሚሄዱ መጠጥ የለም፤ ብርዝ ግን እንደ ውኃ ነበር። ሰውየው በላ፣ መረቀ፣ የሬዲዮውን ቁልፍ አዞረ።

"ይሠራል?"

"ይሠራል ጌታዬ" አለ ባለቤቴ፣ ደስ ብሎት።

"ምንጣፉም ግሩም ነው። የውጭ መሆን አለበት።"

አዮ ፈገግ ብለው ብርዝ ጨመሩለት። በአዮ ቤት ለእንግዳ "ያየኸው የውሰት ነው" አይባልም፤ ተነሥ ውጣ እንደ ማለት ነው። እኔም ባለቤቴም ዝም አልን። ሰውየው መጋዘኑን ለአንድ አፍታ ጎብኝቶ፣ የአዮን እጅ በሁለት እጁ ጨብጦ ሄደ።

ግምቱ ሲደርሰን ካምናው እጥፍ ሆኖ ተገኘ። ደጋግሜ አነበብኩት፤ ዓይኔ የተሳሳተ መስሎኝ ለባለቤቴ ሰጠሁት። እሱም አንብቦ መልሶ ሰጠኝ። በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ይሉሃል ይህ ነው። ዓለም ቡናችሁን አልፈልግም ባለበት ዓመት፣ መንግሥት ደግሞ በቡናችሁ ከብራችኋል አለን።

ባለቤቴ መሥሪያ ቤቱ ድረስ ሄዶ ገማቹን አገኘው። የቡና ዋጋ መውደቁን፣ የአገሪቱ ድርሻ መሙላቱን አንድ በአንድ አስረዳው። ሰውየው በትዕግሥት ሰማውና እንዲህ አለው፤ "ወንድሜ፣ የባሕር ማዶውን ዋጋ እኔ አላየሁትም። ያየሁት ቤትህን ነው። አንተ ዘንድ የበላሁትን ምሳ አዲስ አበባ ያሉ አለቆቼ ቤት አልበላሁም።" ክፋት አልነበረበትም፣ የነገረው እንደ ምስጋና ነው። የታረደለትን በግ ለካ ሲበላ አልነበረም፣ ሲመዝን ነበር!

የቀረን ይግባኝ ነው። ዕቃው የውሰት መሆኑን የሚመሰክር ሰው ካመጣን ግምቱ ይታያል ተባለ። ለዚህማ ማን ይከለክለናል? ጎረቤታችን ገና ሳንጨርስላት "እኔ እመጣለሁ አዮ፣ የኔ ነው ብዬ እናገራለሁ" አለች። ያን ቀን ባለቤቴ ከብዙ ጊዜ በኋላ ፈገግ ሲል አየሁት።

ይግባኝ ሰሚዎቹ ሦስት ነበሩ። ሰብሳቢው ከአዲስ አበባ የመጣ ኦሮምኛ የማይሰማ ሹም ነው፤ ሁለቱ የከተማው ሽማግሌዎች ናቸው። የመሥሪያ ቤቱ አስተርጓሚ ለቅሶ ሄዶ ስለነበር ሰብሳቢው "አስተማሪ ነሽ አሉ፤ የሚያስፈልግ ከሆነ አንቺ ታስተረጉሚያለሽ። የተባለውን ብቻ፤ አትጨምሪ፣ አትቀንሺ" አለኝ። እሺ አልኩ።

ጎረቤታችን ልጇን ታቅፋ ቀረበች። ሰብሳቢው ምንጣፉና ሬዲዮው የማን እንደሆኑ ጠየቃት። አፏን ከመክፈቷ በፊት በጎን የቆመው ገማች፣ እንደ ልማዱ በጨዋ ድምፅ፣ "እመቤት፣ ይህ ሁሉ ያንቺ ከሆነ ባለፈው ሳምንት ድሃ ነኝ ብለሽ በዝቅተኛው ደረጃ ያስመዘገብሽው ለምንድን ነው? ያንቺንም እንደገና ማየት ሊኖርብን ነው" አላት።

ይህን ማናችንም አላሰብነውም። በሬ ሆይ፣ ሳሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ! ልጅቱ ደረቀች። ሕፃኑን ከአንዱ ትከሻዋ ወደ ሌላው አዛወረችው፤ ዓይኗን መሬት ላይ ተከለች።

"አላውቀውም" አለች። "የኔ አይደለም።"

ጮኼ ልናገር ስል ባለቤቴ ክንዴን ያዘኝ። ባሏ በሕይወት ሳለ ያመጣላትን፣ በገዛ እጇ የሰቀለችውን ምንጣፍ አላውቀውም አለች! ቤታችን ቢፈርስ ኖሮ የዚያን ያህል አልደነግጥም ነበር። ተናደድኩባት፣ ደግሞም አዘንኩላት፤ የጨው ችርቻሮዋ ምን ያህል እንደሆነ አውቃለሁ።

ከዚያ አዮ ተጠሩ። መጽሐፍ ቅዱሱ ላይ እጃቸውን አድርገው ማሉ። የገበያ አማርኛ አያቅታቸውም፤ ነገር ሲከብዳቸው ግን ምላሳቸው ወደ ኦሮምኛ ይሄዳል። አዮ ሲዋሹ ሰምቼ አላውቅም። ገበያ ላይ ቅቤያቸው ከረም ያለ ከሆነ ገዢው ሳይጠይቃቸው ይነግሩታል። እንግዲህ እውነቱን ይናገራሉ፣ ሽማግሌዎቹም ያምኗቸዋል ብዬ ልቤ ተመለሰ።

"ምንጣፉና ሬዲዮው የማን ናቸው?" አለ ሰብሳቢው።

አዮ ልጅቱን አዩዋት። ሕፃኑ ማልቀስ ጀምሮ ነበር።

"ካን ኮቲ" አሉ።

የኔ ነው ማለት ነው። ጆሮዬን አላመንኩትም። እዚያ መጽሐፍ ላይ፣ እዚያ ሰው ሁሉ ፊት፣ በልጃቸው እንጀራ ላይ! አንደኛው ሽማግሌ ባርኔጣውን ያገላብጥ ጀመር፣ ሌላው በመስኮት ወደ ውጭ ያያል። ሁለቱም ሰምተዋል፤ ሁለቱም ለመናገር እንደማይፈልጉ ገባኝ።

"ምን አሉ?" አለኝ ሰብሳቢው።

በዚያች ሰዓት ያላሰብኩት የለም። "የልጅቱ ነው አሉ" ብል የሚያጋልጠኝ ሰው አልነበረም። ያልኩትም እውነት ይሆን ነበር! አንዲት ቃል ነች ከአፌ የምትፈለገው፣ ፈቃዱም ንግዱም ይተርፉልናል። አዮ ግን አማርኛ ይሰማሉ። ከልጅቱ ላይ ዓይናቸውን አንሥተው እኔን ይጠብቁ ነበር። አልለመኑኝም፣ አልተቆጡኝም፤ ብቻ ቆመው ያዩኛል።

"የእኔ ነው ይላሉ" አልኩ። "ምንጣፉም፣ ሬዲዮውም።"

ጸሐፊው ጻፈ። ግምቱ ጸና ተባለ። ባለቤቴ ቀና ብሎ አየ፤ እናቱን አይደለም፣ እኔን። ያን ያህል ጊዜ አፍጥጦ አይቶኝ አያውቅም። ልጅቱ ደጅ ላይ አዮ እግር ሥር ልትወድቅ ስትል አዮ በክንዷ ያዟትና "ማሎ፣ እባክሽ ተይ፣ ልጅሽን አጥቢው" አሏት።

ሰኞ ጠዋት ባለቤቴ ፈቃዱን ሊመልስ ተነሣ። ኮቱን ያዝኩለት፤ አንዱን እጁን አስገብቶ ሌላውን ሳያስገባ ቆመና "አንቺስ? የጎረቤታችን ነው ብለሽ እውነቱን ብትናገሪ ኖሮስ?" አለኝ። እጅጌውን አስተካከልኩለት፣ በሩንም ከፈትኩለት።