ሰተና ልኬት ስታስተምር

ጎረቤቴን ሰተናን የዋድ መዳኒ ከተማ በሙሉ "ደግ ሴት" ይላታል። ሃያ ዓመት አጥር ለአጥር ተዋስነን የኖርነው እኔና እሷ ነን፤ ስለ ሰተና ለእኔ ማንም አይንገረኝ።

ገበያ ማሽላ ትሸጥ የነበረችው እህቷ ስትሞት፣ የሟች ልጅ፣ የሰባት ዓመቷ ተይሲር፣ ሰተና ቤት ገባች። ባሏ ባቢከር "ከልጆቻችን ጋር ትማር" አለ። ሰተና ፊት ለፊት እምቢ አትልም።

"ልኬት የማታውቅ ልጅ ትምህርት ቤት ምን ትሠራለች? የኢዱን ብስኩት እሷ ትለካ። ከሆነላት ትመዝገብ፤ ካልሆነላት ፖርት ሱዳን ያሉ የማውቃቸው ሰዎች ልጅ የምታዝልላቸው ሠራተኛ ይፈልጋሉ" አለች።

ኢዱ ሁለት ቀን ሲቀረው ብስኩት ልንሠራ ግቢዋ ተሰበሰብን። "በይ እመቤት፣ ስድስት ብርጭቆ ዱቄት፣ ሁለት ብርጭቆ የነጠረ ቅቤ!" አለቻት።

ተይሲር ከንፈሯን ነክሳ መለካት ጀመረች። ዱቄቱን በየብርጭቆው ጫፍ እስኪያወጣ ቆለለችው። ምን ታድርግ? እናቷ ማሽላ ስትሰፍር ሳትቆልል ሰጥታ አታውቅም፤ "አፉን ጠርጎ የሚሰፍር ሌባ ነው" እያለች ነው ያሳደገቻት። ቅቤው ግን ፈሳሽ ነው፣ ከአፉ በላይ ከየት ይቆለላል?

ሰተና አየች። እኔም አየሁ። "ኧረ አፉን ጥረጊው በያት" ልል ስል በክርኗ ጎሸም አደረገችኝ።

"ተያት፣ ትማር" አለች እየሳቀች።

እኔም አፈር ልብላ፣ ዝም አልኩ።

ትሪው ከሰፈሩ ዳቦ ቤት ምድጃ ሲመለስ ብስኩቱ ድንጋይ ሆኗል። ሰተና ለሴቱ ሁሉ አንዳንድ አደለች።

"ቅመሱ እንጂ፣ የምሁሯ እጅ ነው! ባቢከር፣ አንተም ውሰድ፣ ሚስማር ትመታበታለህ!"

ሴቶቹ በሳቅ ፈረሱ። ልጅቷ ግድግዳ ተደግፋ የእያንዳንዳችንን አፍ ታያለች። ባቢከር መሬት መሬት አየ፤ ስለ ትምህርት ቤት ዳግመኛ አላነሳም።

ኢዱ ባለፈ በሦስተኛው ቀን ተይሲርን አውቶቡስ ተራ የሸኘኋት እኔ ነኝ። ቀሚሴን ይዛ፣ "አክስቴ፣ የቱ ጋ ነው የተሳሳትኩት?" አለችኝ።

"ዱቄቱ በዝቶ ነው። የብርጭቆውን አፍ በጣትሽ መጥረግ ነበረብሽ።" ያኔማ አፌ ተፈታ!

ትንሽ አሰበች። "እሺ፣ ለሚመጣው ኢድ እጠርገዋለሁ። ያኔ ይመዘግቡኛል አይደል?"

"አዎ የኔ ልጅ" አልኳት፤ ከፖርት ሱዳን ሊወስዳት የመጣውም ሰውዬ እጇን ይዞ አሳፈራት።