ቅቤ የጠጣ ዱላ

ከሚሴ ላይ ዱላ ሊገዛ የመጣ ሰው አደምን ብዙ አይጠይቀውም፤ የሚጠይቀው አደም ነው። «ለከብት ነው፣ ለመንገድ ነው፣ ወይስ ለሠርግ?» ይላል። መልሱን ሳይጠብቅ የሰውየውን ቁመት በዓይኑ ይለካል፣ ክንዱን ያያል፣ ከተደገፈው ክምር ውስጥ አንዱን መዝዞ ያቀብለዋል። እሑድ እሑድ ሰንበቴ ገበያ ይሄዳል። ከአፋር በኩል ግመል ይዞ የሚመጣውም፣ ከደጋ በግ የሚነዳውም የሱን ወይራ ያውቃል። ሥራውን የለመደው ከአባቱ ነው። አምሳውን ያለፈ፣ ጨዋታ የሚወድ ሰው ነው፤ አጠገቡ ቆሞ ሳይስቅ የሚሄድ አልነበረም። «አልነበረም» ማለቴ ያለ ነገር አይደለም።

ነገሩ የተጀመረው የኮሌጁ የስፖርት መምህር ኸይረዲን አንዲት የጎበጠች የአሉሚኒየም ዕቃ ይዞ ደጁ የመጣ ቀን ነው።

«ጋሽ አደም፣ እቺን የመሰለች ከእንጨት ይሠሩልኛል?»

አደም ተቀብሎ አገላበጣት። አንዱ ጫፏ ቀጭን፣ ሌላው ወፍራም ነው።

«ይኼ ዘነዘና አይደለም እንዴ? ኮሌጁ በርበሬ ሊወቅጥ ነው?»

«ባት ይባላል። ቤዝቦል መጫወቻ ነው፣ ኳስ ይመታበታል።»

«ታዲያ ዱላ ነዋ!»

«ዱላ እንኳ አይደለም...»

«መምህር፣ እንጨት ሆኖ የሚመታ ከሆነ ዱላ ነው» አለ አደም፤ ክርክሩ በዚያው አለቀ። ከዚያ ወዲህ ኮሌጁ ውስጥ ባት የሚለው መምህሩ ብቻ ሆነ። ተማሪው ሁሉ ዱላ ይላል።

ጨዋታው ለከተማው አዲስ ነበር። ጓንቶቹን ኮርቻ የሚሰፋ ሰው ከላም ቆዳ ሰፋቸው፤ ትልልቅና ደረቅ ስለሆኑ ልጆቹ ሲያደርጓቸው እጃቸው የተሰበረ ይመስላል። ሯጮቹ የሚረግጡት ማረፊያ አሸዋ የተሞላ የዱቄት ከረጢት ነው። ከመቺው ኋላ ተቀምጦ ኳስ የሚቀልበው ልጅ የሞተር ሳይክል ሄልሜት ያጠልቃል። ሄልሜቱ የመምህሩ የራሱ ነው፤ ሌላ የለም። ከሰዓት በኋላ ባጃጅ ነጂው፣ ሱቅ ጠባቂው፣ ሥራ የፈታው ሁሉ አጥሩ ላይ ተደግፎ ያያል፣ ይስቃል።

ሳቁ የሚቋረጥበት ጊዜ ግን ነበር። ከቡድኑ ሁሉ አጥብቆ የሚመታው አሚር ነው፤ ከሁሉ ፈጥኖ የሚሮጠው ደግሞ አብዱልጀሊል። የአሚር ሰዎች ከላይኛው ቀበሌ፣ የአብዱልጀሊል ሰዎች ከታችኛው ናቸው። ላይኞቹና ታችኞቹ ባለፈው ዓመት በቦርከና ወንዝ ዳር ግጦሽ ተጋጭተው፣ በሁለቱም ወገን ሰው ወድቆ፣ ረመዳን ሲቃረብ በሽማግሌ ታርቀዋል። ያስታረቁት የአብዱልጀሊል አያት ሼህ ሙህዲን ናቸው። ልጆቹ እርስ በርስ ምንም ቂም የላቸውም፤ አንድ ሰሃን ላይ ይበላሉ። ቢሆንም አሚር ዱላ አንስቶ አብዱልጀሊል አጠገቡ በቆመ ቁጥር፣ አጥሩ ላይ ያለው ሰው ወሬውን ያቆማል።

የመጀመሪያዎቹ ዱላዎች አልበረከቱም፤ ተሰነጠቁ። ኸይረዲን ስብራቱን ይዞ መጣ።

«ቅቤ አልጠጣማ!» አለ አደም። «አስቸኮልከኝ። እንጨት ቅቤ ሳይጠጣ ይመታል ያለህ ማነው?»

ቀጣዩን ዱላ እንደ ወጉ ሠራው። ወይራውን ጠርቦ፣ አለስልሶ፣ ቅቤ እየቀባ እሳት ላይ አሞቀው፤ ሲመጠው ደግሞ ቀባው። ይበልጥ ያጠጣው እጀታውን ነው። የመንገድ ዱላ እንደዚያ ነው የሚሠራው፤ ቀኑን ሙሉ የሚይዘው ሰው መዳፉ እንዳይቆስል። ከውሰር የምትባለው ሚስቱ አንስታ አየችው።

«ወይ ጉድ! ለሠርጋችን እንኳ እንዲህ ያለ አልያዝክም። ግን አደም፣ ይኼ እጅ ላይ ይቆያል?»

«ያንቺ እጅ ዘይት ነክቶት ነው» ብሎ ሳቀባት።

አዲሱ ዱላ ሜዳ የወጣ ቀን አደም ራሱ ሊያይ ሄደ። ሙቀቱ ከባድ ነበር፤ የልጆቹ ሸሚዝ ጀርባቸው ላይ ተጣብቋል። አሚር ዱላውን በሁለት እጁ ጨበጠ። አብዱልጀሊል ተራውን እየጠበቀ በጎን በኩል ቆሟል፤ ራሱ ላይ ምንም የለም። ኳሱ ተወረወረ። አሚር ባለ በሌለ ጉልበቱ ሰነዘረ።

«ድምፁን ስሰማ ኳሱን ያገኘው መስሎኝ አጨበጨብኩ» ይላል አደም። እስከ ዛሬ ይህን ሲናገር እጆቹን ብብቱ ውስጥ ያስገባል።

ኳሱ ሄልሜት ባጠለቀው ልጅ ጓንት ውስጥ ነበር። ዱላው አሚር እጅ ላይ አልነበረም። አብዱልጀሊል ወድቋል፤ ከግራ ጆሮው ደም ይወርዳል።

መምህሩ ልጁን በባጃጅ ይዞ ወደ ሆስፒታል ሮጠ። አሚርን ታችኞቹ እንዳያገኙት ጓደኞቹ የስፖርት ዕቃ ክፍል አስገብተው ቆለፉበት። አደም ዱላውን ከሣሩ ላይ አነሳ። መዳፉ በላብ ረጥቦ ነበርና ዱላው እጁ ውስጥ ዞረበት፤ ጠበቅ ሲያደርገው ይባስ ተንሸራተተ። ያን ጊዜ ነው የገባው። ዱላ ተይዞ ይኬዳል። ይኼኛው ግን በሙሉ ጉልበት ይወነጨፋል፤ እሱ ደግሞ እጀታውን ቅቤ አጠጥቶታል።

አጥሩ ጋ አንድ ሰው ስልክ ይዞ ይጮኻል። «አሚር አብዱልጀሊልን በዱላ መታው! ጭንቅላቱን! አዎ፣ የላይኞቹ ልጅ አሚር!»

ከተናገረው ውስጥ አንድም ውሸት የለም። ቤዝቦል የምትለዋን ቃል አልጨመራትም፤ ቢጨምራትም ታችኛው ቀበሌ ምን እንደሆነች የሚያውቅ የለም።

አደም ዱላውን እንደያዘ ወደ ሆስፒታሉ አቀና። መንገድ ላይ ለከውሰር ደወለ።

«አንተን ምን አገባህ?» አለችው። «የዘመዶቻቸውን ነገር ለዘመዶቻቸው ተው። አንተ እንጨት ነው የሸጥከው።»

«እንጨቱ እኮ ነው የመታው።»

«አደም፣ በአላህ ይዤሃለሁ፣ ተመለስ!»

ሆስፒታሉ በር ላይ ሲደርስ አንድ አይሱዙ ቆመ። ከላዩ ወንዶች ወረዱ፤ ብዙ ናቸው። መጨረሻ ላይ ከጋቢናው ሼህ ሙህዲን ወረዱ፤ አደምን አዩት፣ እጁ ላይ ያለውን አዩ። ጫፉ ላይ ያለው ደም ገና አልደረቀም።

«ኡሌን ኩን ካን ኤኙቲ?» አሉ በኦሮምኛ። ይህ ዱላ የማነው?

እዚያ አገር ሽማግሌ ይህን ሲጠይቅ ማን ገዛው ማለቱ አይደለም፤ የደሙ ባለቤት ማነው ማለቱ ነው። አደም ዕድሜውን ሁሉ በዱላ የኖረ ሰው፣ ይህን ያውቃል። የአሚር ነው ካለ አይሱዙው ወደ ኮሌጁ ይዞራል፤ የዕቃ ክፍሉ በር ደግሞ ቆርቆሮ ነው።

«ካን ኮቲ» አለ። የኔ ነው።

ሰዎቹ ተንቀሳቀሱ። ሼሁ እጃቸውን ሲያነሱ ሁሉም ቆሙ።

«አንተ ነህ የመታኸው?»

«የሠራሁት እኔ ነኝ፣ ቅቤ ያጠጣሁትም እኔ። ልጁ ለኳስ ነው የሰነዘረው ሼህ፣ ወላሂ። ዱላው ነው ያመለጠው። እጅዎን ያርጥቡና ይያዙት።»

«እያታለለን ነው አባ!» አለ የአብዱልጀሊል አጎት አብዶ። «የላይኞቹን ልጅ ሊያሸሽ ነው። ምን ሰጡህ አንተ?»

ሼሁ ለውዱእ፣ ለሶላት መታጠቢያ፣ የያዙትን ውሃ መዳፋቸው ላይ አፈሰሱ፤ ዱላውን ተቀብለው በሁለት እጃቸው ሰነዘሩ። ዱላው ዞረባቸው፤ በጣቶቻቸው ጫፍ ነው የያዙት። ወደ አፍንጫቸው አስጠግተው አሸተቱት።

«ቅቤ» አሉ፤ ለማንም አይደለም። ከዚያ ወደ ሰዎቻቸው ዞሩ። «የአሚር እጅ ንጹሕ ነው። ሰማችሁ? ወደዚያ ልጅ የሚሄድ የኔ ሰው አይደለም።»

አደም «አልሐምዱሊላህ» ሊል አፉን ሲከፍት ሼሁ ቀጠሉ።

«ደም ግን ያለ ባለቤት አያድርም፣ አደም። ባለቤቱ እኔ ነኝ ብለሃል።»

አብዱልጀሊልን ራሱን እንደሳተ ወደ ደሴ ወሰዱት። አደምን ማንም አልጎተተውም፤ ማንም ክፉ አልተናገረውም። ሼሁ «ልጁ እስኪነቃ እንግዳችን ነህ» አሉት። አንዱ ክንዱን በቀስታ ያዘው፣ ሌላው በሩን ከፈተለት። አይሱዙው ጋቢና ውስጥ መሐል ላይ ተቀመጠ።

ታችኛው ቀበሌ እንደ እንግዳ አከበረው። ከቤቱ የተሻለው ፍራሽ የሱ ሆነ፤ ሥጋ ቀረበ፣ ማር ቀረበ። እጁን ሊታጠብ ሲወጣ ሁለት ሰዎችም እጃቸውን ሊታጠቡ ይወጣሉ። ሲሰግድ ከኋላው ይሰግዳሉ። አብዶ በሩ ሥር ተቀምጦ እንጀራውን ሲቆርስ ያየዋል፤ ራሱ ግን አብሮ አይበላም። ከውሰር ደወለች።

«ምን እያደረግክ ነው?»

«እየተጋበዝኩ ነው።»

«ድምፅህ የተጋባዥ አይደለም» አለችው።

ከደሴ ስልክ የመጣው፣ ሰው ሁሉ ተስፋ መቁረጥ ከጀመረ በኋላ ነው። ሼህ ሙህዲን ቆመው አዳመጡ። ልጁ ዓይኑን ገልጦ እናቱን ጠርቷል። ሴቶቹ እልል አሉ። ሼሁ ግን ስልኩን ከጆሯቸው አላነሱም፤ ሌላም ነገር እየተነገራቸው ነበር።

አደምን እስከ አስፋልቱ ራሳቸው ሸኙት።

«ነፍሱ ተርፋለች፣ አልሐምዱሊላህ» አሉ። «ግራ ጆሮው ግን አይሰማም። እስኪሰማ ድረስ ነገሩን አልዘጋውም።»

«ካልሰማስ፣ ሼህ?»

ሼሁ እጃቸውን ዘርግተው ሚኒባስ አስቆሙለት።

ከዚያ ወዲህ ሼሁ እሑድ እሑድ ሰንበቴ ይመጡ ነበር፤ ከገበያው ሁሉ ቀድመው አደም ዘንድ።

«አካም ቡልቴ፣ አደም?» እንዴት አደርክ?

«ናጋ፣ ደህና ነኝ፣ አልሐምዱሊላህ። እርስዎስ ሼህ? ልጁስ?»

«ዛሬም አልሰማም» ይላሉ፤ ይሄዳሉ። ሌላ ቃል የለም። ገዢዎቹም ይህን ለመዱት፤ ሼሁ ሲመጡ ፈንጠር ይላሉ። አደም ጨዋታ የተወው በዚያ ጊዜ ነው።

ያለፈው እሑድ ሼሁ አልመጡም። በሳቸው ቦታ አብዶ መጥቶ ቆመ። ሰላምታ አልሰጠም።

«አባ አልጋ ላይ ናቸው» አለ። «ከእንግዲህ የምመጣው እኔ ነኝ።»

አደም ይህን ለከውሰር ሲነግራት በዚህ እሑድ እንዳይሄድ ለመነችው። ባቲ ይሂድ፣ ሰኞ ገበያ አለ፤ አገር ሰፊ ነው፣ እዚያም ዱላ ይሸጣል አለችው። እሱ ዱላዎቹን በገመድ እያሰረ ነበር።

«ብቀር ሸሸ ይላል።»

«ሸሸ ይበላ!»

«አሚር ኮሌጅ ነው ያለው፣ ከውሰር። እኔ ከጠፋሁ ለደሙ ሌላ ባለቤት ይፈልጋሉ» አለና ገመዱን አጠበቀው።