የጋሽ ሰይድ ግድግዳ እንደራሴዎች

ባለፈው ቅዳሜ ጠዋት፣ የካ አባዶ ባለው ኮንዶሚኒየማችን ጠባብ ኩሽና ውስጥ የፉርኖ ዱቄት በውሃ በጥብጬ ሙጫ ሳማስል፣ እጄ ሳላዘው ወደ ቅመም መደርደሪያው ሄደና ሚጥሚጣ ቆንጥሮ ድስቱ ውስጥ ጨመረ። ለትምህርት ቤታችን የተማሪዎች ፓርላማ የምትወዳደረው ጓደኛዬ ቤቲ የራሷ ፎቶ ያለባቸውን ሃያ ወረቀቶች ታቅፋ አጠገቤ ቆማ ነበር። ፕላስተሩ የትምህርት ቤቱን ሻካራ ግድግዳ አልይዝ ብሎን ነው ወደ ዱቄት የዞርነው። ዓይኗን አፍጥጣ «አንቺ ልጅ ጤነኛ ነሽ? ፖስተር ልንለጥፍ ነው ወይስ ጥሬ ሥጋ ልንበላ?» አለችኝ። እኔ ግን እዚያ አልነበርኩማ! ከድስቱ የተነሳው እንፋሎት፣ ያ የተቀቀለ ዱቄት ሽታ፣ ጫፉ ላይ ያቺን የምታስነጥስ ነገር ይዞ፣ ከአራተኛ ፎቅ አንስቶ ገርጂ ወስዶኝ፣ ከጋሽ ሰይድ ሱቅ ጎን ያለው ድንጋይ ላይ አስቀምጦኝ ነበር።

አሥራ ሰባት ዓመቴ ነው። «በልጅነቴ» ብዬ ስጀምር እናቴ «ትናንት ዳይፐር የቀየርኩልሽ ልጅ!» እያለች ትስቃለች። ትሳቅ። የተወለድኩበት ሰፈር ዛሬ የለም፤ ሰፈሩ ከሌለ ልጅነቴም አብሮት ሄዷል ማለት ነውና፣ ትዝታ የመጻፍ ሙሉ መብት አለኝ።

የጋሽ ሰይድ ሱቅ ከአስፋልቱ ወደ ወንዙ በሚወርደው ኮረኮንች መንገድ መሐል ላይ ነበረች። ጋሽ ሰይድ በልጅነታቸው ከወሎ መጥተው ሱቋን ከአጎታቸው የተረከቡ፣ ቀጭን፣ ንጹሕ፣ ሚዛን ሲመዝኑ ትንፋሻቸውን የሚይዙ ሰው ናቸው። ሱቋ ትንሽ ብትሆንም ወደ መንገዱ የዞረው የጭቃ ግድግዳዋ ግን ረጅም ነበር፤ ጣሪያው ወጣ ብሎ ከዝናብ ስለሚጋርደው፣ ሰፈሩ ሰፈር ከመሆኑ በፊት ጀምሮ ሕዝብ ወክሎ ፓርላማ ሊገባ የፈለገ ሰው ሁሉ ፊቱን እዚያ ላይ ለጥፎ ሄዷል። አዲሱ በአሮጌው ላይ፣ ያሸነፈው በተሸነፈው ላይ፣ የተሸነፈው ባሸነፈው ላይ ይለጠፋል፤ የሚገነጥል የለም። በመስኮቱ ጠርዝ በኩል ስታዩት ወረቀቱ እንደ ፍራሽ ተደራርቦ ይታይ ነበር። ክረምት ላይ ርጥበት ሲገባው ጫፍ ጫፉ ይጠቀለልና፣ ከአንዱ እጩ ጉንጭ ስር የሌላው ጆሮ፣ ከሌላው ከረባት ስር የማይታወቅ ሰው ግንባር ብቅ ይላል። ከትምህርት ቤት ስመለስ ቆሜ እያየሁ ግድግዳው እየተነፈሰ ይመስለኝ ነበር፤ ሰዎቹ እዚያ ውስጥ ተኝተው፣ አንዱ ሲገላበጥ ሌላው ብርድ ልብሱን የሚስብ ይመስለኝ ነበር።

የግድግዳው ታሪክ ጸሐፊ አባባ ቶላ ነበሩ፤ ጸሐፊ ልበላቸው እንጂ መጻፍስ አይችሉም። እድሜያቸውን ሰማንያ ነው የሚሉት፤ እናቴ ልጅ ሆናም ሰማንያ ነበር አሉ። ዛሬ ፎቅ የቆመበት ሁሉ የእሳቸውና የወንድሞቻቸው የጤፍ ማሳ ነበር፤ ከዚያ ሁሉ መሬት የቀረቻቸው አንዲት ጓሮ፣ ጉራቻ የምትባል ጥቁር ፍየልና ከግድግዳው ስር ያለችው ድንጋይ ናት። እኔና የጋሽ ሰይድ ልጅ ሂክማ እግራቸው ስር ተቀምጠን ቆሎ እየቆረጠምን የምርጫ ክልላችንን ታሪክ ከእሳቸው ነው የተማርነው።

የመጀመሪያው እንደራሴ ባለ ፈረሱ ነው። አባባ ቶላ በሬ ሳይጠምዱ ገና ልጅ ሳሉ በበቅሎ መንገዱ መጥቶ፣ ከፈረሱ ወርዶ፣ ከአባታቸው ጋር ጠላ ጠጥቶ «እኔ የእናንተ አፍ ነኝ» ብሎ ሄደ። እንዴት መረጣችሁት ስንላቸው «እኛ እንጃ! ጠላውን ጨርሶ ሄደ፤ በኋላ መመረጡን ሰማን» ይላሉ። ቀጥሎ ባለ ካኪው መጣ፤ በላንድሮቨር፤ ሞተሩን ሳያጠፋ በመስኮት አነጋግሯቸው ሄደ። ከዚያ ባለ ሙሉ ጥርሱ፤ እሱ ፎቶው ብቻ ነው የመጣው፤ ሠላሳ ሁለቱንም ጥርስ ያሳየበት ፎቶ። ማንንም በስሙ አይጠሩትም ነበር፤ ስም ይረሳል፣ ጥርስ አይረሳም ባይ ናቸው። ከዚያ ረጅሟን ዱላቸውን መሬት ላይ እየጫሩ ይደመድማሉ፤ «አያችሁ ኢጆሌ፣ መጀመሪያ ሰውየው ራሱ መጣ። ቀጥሎ መኪናው መጣ። ቀጥሎ ፎቶው መጣ። ከዚህ በኋላ ምን እንደሚመጣ እንጃ።» ከዚያ ተነስተው በመስኮቱ ጠርዝ በኩል መዳፋቸውን በወረቀቱ ውፍረት ላይ ያስቀምጣሉ። አውራ ጣታቸውን ሳይጨምር ልክ አራት ጣት። «ይኸው ፓርላማችን» ይላሉ።

ከሁሉም አንዷን ግን ለመጨረሻ ያቆይዋት ነበር። መምህርቷን። ባለ መነጽር ሴት ናት፤ በእግሯ መጥታ ድንጋዩ ላይ ተቀምጣ ክሊኒክ አሠራለሁ ብላ ነበር። ተመረጠች። እናም፣ ይኼን በናታችሁ ልብ በሉልኝ፣ ከሁለት ዓመት በኋላ ተመልሳ መጣች። ክሊኒክ ይዛ ግን አልነበረም፤ «ቃል የገባሁላችሁን አልቻልኩም፤ ከሌላ ሰው ከምትሰሙት ራሴ ልንገራችሁ ብዬ ነው» ልትል ነው የመጣችው። ሰፈሩ እንዲህ ያለ ነገር አይቶ አያውቅም። በመጨረሻ አሥር እንቁላል ሰጥተው ሸኟት። «ከሁሉም ተመርጣ የተመለሰች እሷ ብቻ ናት» ይሉ ነበር አባባ ቶላ፣ ግድግዳው ላይ አንድ ቦታ በዱላቸው እየነኩ፤ «እዚህ ጋ ናት፣ ከስር።»

አሁን ወደ ሚጥሚጣው ልምጣ። ጋሽ ሰይድ ለማንም አይወግኑም፤ ክብራቸው ይህ ነበር። ምርጫ ሲደርስ ግድግዳውን በጠመኔ እኩል ይከፍሉታል፣ ቦታውን በዕጣ ያድላሉ፣ ሙጫውንም ራሳቸው አፍልተው ለሁሉም ከአንድ ድስት ይቀዳሉ። የዱቄት ሙጫ ደግሞ ለፍየል ድግስ ነው። በባለ ሙሉ ጥርሱ ጊዜ የጉራቻ አያት ሰውየውን እስከ አፍንጫው በልታው ስለነበር፣ ከዚያ ወዲህ ሙጫው ላይ ሚጥሚጣ መጨመር የሱቁ ሕግ ሆነ። «የእኔ ሙጫ ወላሂ እንኳን ፍየል ጅብ አይደፍረውም!» ይሉ ነበር። አንድም ጊዜ ረስተው አያውቁም።

አሥራ ሁለት ዓመቴ ላይ ምርጫ ደረሰ። አዲሶቹ ፊቶች በተለጠፉ በሦስተኛው ቀን፣ ጋሽ ሰይድ ለጁምዓ ሶላት መስጊድ ሄደው፣ አባባ ቶላ ድንጋያቸው ላይ እንቅልፍ ሸለብ አድርጓቸው፣ እኔና ሂክማ ከመምህርቷ ቦታ ፊት ቆመን ነበር። ፊቷን ማየት አማረን፤ በቃ። ተንኮል አልነበረንም። ሂክማ እርጥብ ስፖንጅ ይዛ፣ እኔ በጥፍሬ፣ ጉድጓድ እንደሚቆፍር ሰው አንዱን ፊት በሌላው ውስጥ እያለፍን ወረድን፤ አንድ ጢም፣ አንድ የኮት ቁልፍ፣ ስማቸው የጠፋ ሰዎች ፊደላት፤ ከዚያ ከታች፣ ከታች፣ ቢጫ ወረቀት ላይ የመነጽር ጠርዝና አንድ የሚያይ ዓይን። በደስታ ዓይኔን አሸሁ። በሚጥሚጣው እጄ!

እየጮህኩ ዞር ስል ነው የሠራነው የታየኝ። ከላይ የነበረው አዲሱ እጩ፣ ባለ ሰማያዊ ከረባቱ፣ ግማሽ ፊቱ የለም።

የእጩው ቅስቀሳ ልጆች ሲደርሱ ጋሽ ሰይድም ከመስጊድ ተመልሰው ነበር። ፖስተር መቅደድ በሕግ የሚያስጠይቅ ነገር ነው። የልጆቹ አለቃ፣ ድምፁ ማይክራፎን የለመደ ወጣት፣ «ጋሼ፣ ለሌላው ወግነው ነው አይደል? ገለልተኛ ነኝ ሲሉ አምነንዎት! አሁኑኑ ወረዳ ነው የምንሄደው፤ ይህ ግድግዳም ከእርስዎ እጅ ይውጣ!» አላቸው። ሰው ተሰበሰበ። ጋሽ ሰይድ ያን ቀዳዳ ሲያዩ ፊታቸው ወረቀት መሰለ። ያ ሁሉ ዓመት በጠመኔና በዕጣ የጠበቁት ስም ሊጠፋ አንድ አፍታ ቀርቶታል። ሂክማ እጄን ጨምቃለች። «እኔ ነኝ» ልል አፌን ከፍቼ ወደ ኋላ አፈገፈግኩ። ዓይኔ ግን እንደ ቧንቧ ይፈሳል፣ ቀልቷል፣ አብጧል፤ አንዲት ሴትዮ «ውይ ልጅቷ ለሳቸው አዝና ነው!» አለች።

ጋሽ ሰይድ ዞረው አዩኝ። ዓይኔን አዩ። ከዚያ ጣቶቼን አዩ። ሚጥሚጣቸውን የማያውቁት መሰላችሁ?

«ፍየሏ ናት» አሉ።

«ሚጥሚጣ ያለበትን?» አለ ከሰው መሐል አንዱ።

ጋሽ ሰይድ ሚዛን ሲመዝኑ እንደሚያደርጉት ትንፋሻቸውን ያዙ። «ዘንድሮ... ሚጥሚጣውን ረስቼዋለሁ።»

ሰው እርስ በርሱ ተያየ። ነገሩን ያዳኑት አባባ ቶላ ናቸው፤ አንድ ዓይናቸውን ገልጠው «አዎ፣ የኔዋ ጉራቻ ናት። ዘሯ ነው! አያቷ ባለ ሙሉ ጥርሱን በልታው እንዴት አድርጎ እንዳሸነፈ ረሳችሁ? ፍየል የቀመሰችውን ማን ይችለዋል!» አሉ። አለቃው ሊቆጣ ፈለገና ሳቅ ቀደመው፤ ወረዳ መሄዱ ቀርቶ ቀዳዳውን በስልኩ ፎቶ አነሳው። በማግሥቱ የተፎካካሪው ሰዎች መጥተው፣ ሲሪየስሊ፣ «ጋሽ ሰይድ፣ ለእኛም ሚጥሚጣ የሌለውን ሙጫ ቢያፈሉልን፤ ገለልተኛ አይደሉ እንዴ?» ብለው ለመኗቸው።

ስማቸው ዳነ። ሙጫቸው ግን አልዳነም። ከዚያን ቀን በኋላ በር ላይ ያለፈ ሁሉ «ጋሽ ሰይድ፣ ሚጥሚጣውስ?» ይላቸው ነበር፤ ስኳር ሊገዛ የመጣ፣ ከሚኒባስ የወረደ፣ ሕፃን ሳይቀር። ፈገግ ብለው ያልፉታል። እኔን አንድም ቀን አልጠየቁኝም፤ በማግሥቱ ስሄድ «አብሽሪ ሜሮንዬ፣ ዓይንሽን በወተት ታጠቢው» ብቻ ነው ያሉኝ። ብዙ ጊዜ ልናገር ተነሳሁ፤ ብዙ ጊዜ ማስቲካ ገዝቼ ተመለስኩ።

ከሁለት ዓመት በፊት መንገዱ ሲሰፋ ሱቋም፣ የእኛም ቤት፣ የአባባ ቶላ ጓሮም ፈረሰ። ትምህርት ቤት ነበርኩ፤ ስመለስ ግድግዳው በጭነት መኪና ላይ ነበር፣ ጭቃውና ሰዎቹ ተቀላቅለው። የመምህርቷን ሙሉ ፊት ሳላየው ቀረሁ። አባባ ቶላ ያን ክረምት አረፉ። ጋሽ ሰይድ ቤተሰባቸውን ይዘው ኮምቦልቻ ገቡ።

ሰኞ ዕለት የቤቲን ፖስተሮች ለጥፈን ስንጨርስ ከመገናኛ ሚኒባስ ይዤ ገርጂ ሄድኩ። ሰፊ የእግረኛ መንገድ፣ አበባ፣ ረጃጅም መብራት፤ ቆንጆ ነው፣ አልዋሽም። ሱቋ የነበረችበት ቦታ ስደርስ ስልኬ ጮኸ፤ የዘንድሮ እጩ መልእክት ነው፣ ፎቶ እንኳን የለውም። አባባ ቶላ፣ ከፎቶው ቀጥሎ የመጣው ይኸው ነው። መዳፌን ዘርግቼ አራት ጣቴን አየሩ ላይ፣ የመስኮቱ ጠርዝ የነበረበት ከፍታ ላይ አስቀመጥኩት። አንድ መንገደኛ ታክሲ የምጠራ መስሎት አለፈኝ።

ትናንት ለሂክማ ደወልኩላት። አባቷ ደህና ናቸው፤ ሰው ስለ ምርጫ ባወራ ቁጥር ግን ዛሬም «እኔ እንኳ አንዴ ሚጥሚጣ ረስቼ ጉድ ሆኜ ነበር» እያሉ ያጫውታሉ አለችኝ። እዚያ የሚሰማቸው ሰው የሙጫቸውን ስም አያውቅም፤ እሳቸው ግን ውሸቱን እንደ አደራ ይዘውታል።

ስለዚህ ይህን ጻፍኩ። ሂክማ፣ ለአባትሽ ጮክ ብለሽ አንብቢላቸው፤ ሰሚት፣ አባዶ፣ የትም የተበተናችሁ የሰፈሬ ሰዎችም ስሙልኝ። ከሌላ ሰው ከምትሰሙት ራሴ ልንገራችሁ ብዬ ነው። ቀዳጇ እኔ ነኝ፤ ፍየሏ ንጹሕ ናት።

ጋሽ ሰይድ፣ ሚጥሚጣው ነበረበት።