ወንድሜ ዓይኑን ጨፍኖ ያየው በግ

ባለፈው ሳምንት ለንደን፣ ሆሎዌይ መንገድ ላይ አውቶቡስ ስጠብቅ አንድ የቆሻሻ መኪና አጠገቤ መጥቶ ቆመ። ከጎማው ሥር የጋለ ፍሬን ሽታ ወጣ። ታውቁት ይሆናል፤ ያረረ ፀጉርና የጋለ ብረት የተቀላቀለበት ዓይነት ሽታ ነው። ሰዎች አፍንጫቸውን ያዙ። እኔ ጠጋ አልኩ። አውቶቡሴ መጣ፣ በሩን ከፈተ፣ ዘጋ፣ ሄደ። እኔ ቆሜ ቀረሁ። ልቤ ዌልስ ነበር፣ አንድ ተራራ ቁልቁለት ላይ፤ መሪው በእጄ፣ ወንድሜ በጎኔ።

እንዴት ብዬ ልጀምረው። ወንድሜ በዐሥር ዓመት ይበልጠኛል። ይበልጠኝ ነበር ማለት አለብኝ፤ ገና አልለመድኩትም። አባታችን አገር ቤት የከባድ መኪና ሾፌር ነበር። ወንድሜ ልጅ ሆኖ ጋቢና ውስጥ አባታችን ጎን ተቀምጦ ተራራ ሲወጣና ሲወርድ ነው ያደገው። እኔ አባታችንን አላስታውሰውም። ወደ ለንደን ስንመጣ በእናቴ እቅፍ ነበርኩ። ያደግሁት ቶተንሃም ነው፤ አቀበት የማውቀው የፎቃችንን ደረጃ ነው፣ ያውም ሊፍቱ ሲበላሽ።

ወንድሜ ሚኒካብ፣ በስልክ የሚጠራ ታክሲ፣ ይነዳ ነበር። "ለንደን ውስጥ መንዳት የለም፣ መቆም ነው ያለው" ይላል። ስለዚህ ክረምት ከበጋ ያጠራቀማትን እረፍት ይዞ፣ የራሱን አሮጌ ቀይ መኪና አስነስቶ፣ ወደ ዌልስ ተራሮች ይሄዳል። እዚያ መንገድ ዳር አንዲት ትንሽ ሞቴል አግኝቷል። ክፍሎቿ በአንድ መስመር የተደረደሩ፣ መኪናህን በርህ ላይ የምታቆምባት። እሷን መነሻ አድርጎ በየቀኑ አንድ የተራራ መንገድ ይዞራል፤ ሲመሽ ወደ እሷው ይመለሳል። እኔ ግን አንድም ቀን አብሬው ሄጄ አላውቅም ነበር።

"ቡክ አድርጌያለሁ" አለኝ ያን ዓመት። "አንድ ሳምንት። አንተና እኔ።"

"ጋሼ፣ ፍልሰታ አይደለም እንዴ?"

"ነዋ። እማዬ ሱባዔ ትገባለች፣ እኛ ተራራ እንገባለን።"

ለምን እንደሚወስደኝ አልነገረኝም፤ እኔም አልጠየቅሁም፤ ሁለታችንም እናውቃለን። መንጃ ፈቃድ ካወጣሁ ዓመት ሆኖኝ ነበር። ባወጣሁ ሰሞን ሰፈራችን ውስጥ አንድ ልጅ በብስክሌት ከቆሙ መኪኖች መሃል ድንገት ብቅ አለብኝ። አልነካሁትም። ወደቀ፣ ተነሳ፣ ሰደበኝ፣ ሄደ። እኔ ግን ከዚያ ቀን ወዲህ መኪና አልነዳሁም። መሪውን ስጨብጥ የግራ እግሬ ፍሪሲዮኑ ላይ ይንቀጠቀጣል፣ ላቆመው አልችልም። መስከረም ላይ ደግሞ ዳቦ የሚያከፋፍል ቫን የመንዳት ሥራ ይጠብቀኛል። እናቴ ለቤተ ክርስቲያን ሰው ሁሉ ነግራ ጨርሳለች። መንዳት እንዳቃተኝ የሚያውቀው ወንድሜ ብቻ ነበር። ሥራው ሊጀመር የቀረው ጥቂት ሳምንት ነው፤ ወይ እነዳለሁ፣ ወይ እናቴን አሳፍራለሁ።

በማለዳ ወጣን። ለንደን ከኋላችን እየሳሳች ሄደች። ከሰዓታት በኋላ መሬቱ ማበጥ ጀመረ፤ መጀመሪያ ጉብታ፣ ቀጥሎ ኮረብታ፣ ከዚያ ደመና የያዘ ጥቁር ድንጋይ። ወንድሜ መስኮቱን አወረደ። እርጥብ ሣርና የበግ ጠጉር ሸተተን።

"አየህልኝ? አየህልኝ ማሙሽ?" ይላል መሪውን በመዳፉ እየመታ። ማሙሽ የሚለኝ እኔን ነው፤ ጢም ካወጣሁ በኋላ እንኳ አልተወውም። እኔም እንደ ሕፃን በመስኮት ወጥቼ ልበር ምንም አልቀረኝም።

የሞቴሉ ባለቤት ነጭ ፀጉራቸውን እንደ ወንድ ያሳጠሩ አሮጊት ነበሩ። ወንድሜ በእኛ መሃል "እትዬ" ይላቸዋል። ክፍላችን ጠባብ ናት። ሁለት አልጋ፣ ዝናብ የሚደበድበው መስኮት፣ ካልሲ የሚደርቅበት ማሞቂያ፣ ግድግዳው ላይ በቴፕ የተለጠፈ የአካባቢው ካርታ። ወንድሜ የሄደባቸውን መንገዶች በጣቱ እያስከተለ ያሳየኝ ነበር። አንዱ ላይ ሲደርስ ጣቱ ቆመ። "ይኼኛው የመጨረሻው ነው። ሲወጡት ሰማይ፣ ሲወርዱት ገደል። አባዬ ቢያየው ይስቅበት ነበር፤ ለእኛ ግን ይበቃናል።"

ችግሩ ቁርስ ላይ ተጀመረ። ወንድሜ ዓመቱን ሙሉ እንደ ነገሩ ነው፣ ፍልሰታን ግን አይሽራትም። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃ እንኳ አይቀምስም፤ እኔም አብሬው እጾማለሁ። እትዬ ግን እንቁላሉንና ቋሊማውን በሰሃን ሞልተው መጡ። ወንድሜ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ "አይ፣ እናመሰግናለን" አላቸው። እሳቸው ጫማችንን አዩ። በመስኮት መኪናችንን አዩ። ጎንበስ ብለው በሹክሹክታ "ቁርሱ እኮ ከክፍሉ ጋር ነው፣ የሚከፈል የለውም" አሉን።

ስንወጣ ሮጠው ደረሱብን። ሁሉንም በዳቦ መሃል አድርገው፣ በፎይል ጠቅልለው፣ በመኪናው መስኮት አቀበሉን። ወንድሜ ከመቀመጫው ከፍ ብሎ በሁለት እጁ ተቀበላቸው።

"ጋሼ! ለምን አልነገርካቸውም?"

"እናትህን የሚያህሉ ሴትዮ በእጃቸው ያቀረቡልህን እምቢ ትላለህ? ነውር አታውቅም?"

"አሁን ምን ልናደርገው ነው?"

"እሱን እግዜር ያውቃል።"

መኪናው ቀኑን ሙሉ ቋሊማ ቋሊማ ሸተተ። ሆዳችን ይጮኻል። ወንድሜ በየኩርባው "መነኮሳቱ በረሃ የገቡት ወደው መሰለህ? ከዚህ ሽታ ሸሽተው ነው" እያለ በሳቅ ያፈርሰኛል። አንድ ከፍታ ላይ የደከሙ ብስክሌተኞች አገኘን፤ ፎይሉን አከፋፈልናቸው። ደስታቸውን ብታዩ! በማግስቱ እትዬ ፎይሉን በእጥፍ አደረጉት፣ እኛም ብስክሌተኛ ፍለጋ ሄድን።

በዚያው ቀን ወደ ማታ በእትዬ ጠረጴዛ ላይ ሻይ ስንጠጣ በሩ ተከፈተ። ከብስክሌተኞቹ አንዱ ነው፤ ክፍል ሊይዝ መጣ። እኛን ሲያይ እጁን ዘረጋ። "እነዚህ ናቸው! በሕይወቴ እንዲህ ያለ ሳንድዊች አልበላሁም!" እትዬ ወደ እኛ ዞሩ። ወንድሜ፣ ያ የማያፍር ሰው፣ ኩባያው ውስጥ ሊደበቅ ምንም አልቀረው። ጾሙን ከሥር መሠረቱ አስረዳቸው። ሥጋ፣ ቅቤ፣ እንቁላል፣ ወተት እንደማይበላ፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ምንም እንደማይቀመስ። ሰሃን እየወለወሉ አዳመጡት።

"እኔ ደግሞ ሰው ሁሉ ቋሊማዬን የጠላው መስሎኝ" አሉ በመጨረሻ። ከዚያ "ባቄላና እንጉዳይ በዘይትስ? ይፈቅዳል አምላካችሁ?"

"ይፈቅዳል፣ እናቴ" አላቸው ወንድሜ፣ በአማርኛ። ገብቷቸው ነው መሰለኝ ትከሻውን ቸብ አደረጉት።

ሦስተኛው ቀን የመጨረሻውን መንገድ ያዝን። መንገዱ ድንጋዩን እንደ እባብ ተጠምጥሞበት ይወጣል። ደመና ገባን፤ ነጭ በነጭ ሆነ፤ ከዚያ እንደ መጋረጃ ተቀደደና ፀሐይ ወጣች። ከታች ሐይቅ እንደ ሳንቲም ያብለጨልጫል። እጮኻለሁ። ወንድሜም ይጮኻል። ከላይ ጫፉ ላይ መኪና የሚቆምበት ትንሽ ሜዳ ነበር። አቆመ፣ ወረደ፣ ከድንጋይ አጥሩ ላይ ተቀመጠ። ግንባሩን በእጁ ያዘ።

"አዞረኝ" አለ።

"ምን?"

"ራሴን አዞረኝ። ቁልፉን ውሰድ።"

"ውሃ ጠጣ! ጋሼ፣ ውሃ ጠጣ በናትህ!"

"ዘጠኝ ሰዓት አልሆነም።"

"እግዜር ይቅር ይልሃል፣ ጠጣ!"

"አልጠጣም አልኩህ። ንዳው።"

ስልኬን አወጣሁ፣ ኔትወርክ የለም። መንገዱን አየሁ፣ ሰው የለም። ነፋሱ ይቀዘቅዛል፣ የወንድሜ ግንባር ግን አልቦታል። ያንን ላብ አይቻለሁ። ደግፌ አስገባሁት። ወንበሩን ወደ ኋላ ለቀቀና ዓይኑን ጨፈነ።

የግራ እግሬ ተንቀጠቀጠ። ይንቀጥቀጥ አልኩት። ማርሽ አስገባሁ፣ መኪናዋ እየተንገራገጨች ሄደች። ከዚያ ቁልቁለቱ መጣ። ፍሬን ያዝኩ። እንደያዝኩ ቀረሁ። ያ ሽታ መኪናውን ሞላው።

"አታቃጥለው" አለ ዓይኑን ሳይገልጥ። "በማርሽ ውረድ። ሁለተኛ። ሞተሩ ይያዝልህ፣ እሱ አይደክመውም።"

ሁለተኛ አስገባሁ። ሞተሩ አጉረመረመ፣ መኪናዋ እንደ ተገራ በቅሎ ሰብሰብ አለች። አንድ ኩርባ። ሌላ ኩርባ። ከታች የቱሪስት አውቶቡስ እየወጣ መጣ፤ ወደ ተራራው ተጠጋሁ፣ አለፈኝ። ሾፌሩ እጁን አነሳልኝ! እንደ ሾፌር ቆጥሮኝ! ያኔ አንድ ነገር ደረቴ ውስጥ ተፈታ።

"በግ" አለ ወንድሜ።

ቆምኩ። ከኩርባው ጀርባ እውነትም በግ፣ መሃል መንገድ ላይ፣ እያመነዠከ ያየናል። በጉን አየሁት፣ ወንድሜን አየሁት። ዓይኑ እንደተጨፈነ ነው።

ሞቴሉ ስንደርስ ዘጠኝ ሰዓት አልፏል። እትዬ ባቄላውን አቀረቡ። ወንድሜ ሁለት ሰሃን በላ። ከዚያ አፉን ጠረገና ሳቁን ለቀቀው።

"ምን ያዞረኛል? ዓይኔን ጨፍኜ በግ ያየሁት በምኔ መሰለህ? ንዳ ብልህ ትነዳ ነበር?"

ዳቦ ወረወርኩበት። ሰደብኩት። እትዬ ተጣሉ ብለው ሮጠው መጡ። ከንዴቴና ከደስታዬ የትኛው እንደሚበልጥ አላውቅም ነበር፤ ብቻ እጄ ቁልፉን አልለቀቀም። ከዚያ ቀን ጀምሮ የነዳሁት እኔ ነኝ። ስሙን መጥራት የማልችለውን መንገድ ሁሉ ነዳሁ። ለንደንም ድረስ ነዳሁ። እናቴን ከቤተ ክርስቲያን ደጅ ስንወስዳት በመስኮት አጎንብሳ አየችኝና "አንተ ነህ የነዳኸው?" አለች። "ማነው ሌላ? እኔ ሕመምተኛ ነኝ" አላት ወንድሜ፣ ከኋላ ወንበር ተጋድሞ። ተሳሳቅን። መስከረም ላይ ቫኑን ጀመርኩ።

ወንድሜ በጥር አረፈ። በእንቅልፉ፣ አልጋው ላይ። ልቡ ነው አሉን። ሐኪሙ እኔንና እናቴን አስቀምጦ፣ ከዚህ በፊት ራሱን አዙሮት ያውቅ እንደሆነ ጠየቀ። እኔ ለእናቴ አስተረጎምኩላት። "ልጄን ጉንፋን እንኳ ይዞት አያውቅም በለው" አለች። እንዳለችው ነገርኩት። ከዚያ በእንግሊዝኛ፣ በራሴ፣ ጨመርኩ።

"አንድ ጊዜ። ተራራ ላይ። ግን ቀልዱን ነበር።"

"ቀልዱን?" አለ ሐኪሙ።

እንዴት ላስረዳው? ላቡን አይቻለሁ። በጉንም እሱ ቀድሞ አይቶታል። ወይ ተራራው ላይ ዋሽቶኛል፣ ወይ ሞቴሉ ውስጥ፣ ባቄላው ላይ። አንዱን ቀን እመርጥና አንዱን እጥላለሁ፤ በማግስቱ እገለብጠዋለሁ። ይህን የምጠይቀው ሰው የለኝም። የማውቀው፣ የቱንም ቢዋሽ ለእኔ ብሎ እንደሆነ ነው።

የቀብሩ ዕለት ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ መኪኖቹ ተሰለፉ። የሬሳው መኪና ከፊት፣ የእኛ ከኋላው። እኔ የወንድሜን ቀይ መኪና ከፈትኩ። ሽማግሌዎቹ ከበቡኝ። "ሐዘንተኛ አይነዳም ልጄ፣ ለሌላ ሰው ስጥ" አሉኝ።

"ተዉት" አለች እናቴ። "እሱ ይንዳኝ።"

ነጠላዋን አጥብቃ ከጎኔ ተቀመጠች። መንገዱ ሜዳ ነው፣ ቀጥ ያለ፣ እግሬም አልተንቀጠቀጠም። የሬሳው መኪና ቀስ እያለ ከፊታችን ራቀ፤ በመሃላችን አንድ አውቶቡስ ገባ፣ ቀጥሎም አንድ ታክሲ። ከኋላችን ያሉት ለቀስተኞች ፍጠኑ ለማለት መብራታቸውን ብልጭ አደረጉልን።

"ፈጠን በል እንጂ ልጄ" አለች እናቴ። "ጥለውን ሄዱ እኮ።"

"እሺ እማዬ" አልኳት። እግሬን ግን ከነዳጁ ላይ አነሳሁ፣ ቶሎ እንዳንደርስ።